ክንድ እያለ በብርሃን!

ወገኖቼ! እናንተ ጉልበታችሁ ከሜትሮሎጂ ቀድሞ ዝናብ የሚተነብይ፣ መነጽራችሁን ግንባራችሁ ላይ ሰቅላችሁ ቤቱን የምታምሱ፣ ወሬ ጀምራችሁ «ምን ልል ነበር?» የምትሉ የዕድሜ ጓደኞቼ ሁሉ፣ እስቲ ተጠጉና አብረን እንማረር። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል ነበር። የዘንድሮ ጉድ መስከረምን አይጠብቅም፤ በየሳምንቱ ከነካርቶኑና ከነቻርጀሩ ከች ይላል። የሰሞኑ ጉድ ደግሞ ብርሃን ነው። ብርሃን የተፈጠረው እንድናይበት መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ሊለካን ኖሯል። ሁሉን ይለካል፣ ሁሉን ይመረምራል። ክንድና ስንዝር፣ ቁናና ምላስ፣ ሽማግሌና አዋቂ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል።

ከጨርቅ ልጀምር። በእኛ ጊዜ አቡጀዲ የሚገዛ ሰው ክንደ ረጅም ዘመዱን ይዞ ገበያ ይወርዳል። እኛ ቤት ይህ ሥራ የአጎቴ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና ክንዱ ረጅም፣ ልቡ ንጹሕ ሰው ነበር። በእሱ ክንድ የተለካ ጨርቅ ለእናቴ ቀሚስ ወጥቶለት ለእኔ እጀ ጠባብ ይተርፋል። ለመሸጥ ሲሆን ደግሞ ክንደ አጭሩ ታናሽ ወንድሙ ይላካል። ማንም አልተጎዳም፤ በየቤቱ ረጅምም አጭርም ዘመድ ነበረና። ፍትሕ ማለት ይህ ነው።

ፈረንጆቹም ያኔ ደህና ነበሩ። ሜትራቸው ፓሪስ አጠገብ ሴቭር በምትባል ከተማ ከ1889 ጀምሮ ተቆልፎበት የሚኖር የፕላቲነምና የኢሪዲየም ዘንግ ነበር። (የፈረንጅ ነገር ስለሆነ ዓመቱንም በፈረንጅ እቆጥራለሁ።) የሚዳሰስ፣ የሚቆለፍበት፣ ዘበኛ የሚቆምለት ነገር ነበር። ኋላ በ1960 ዘንጉን ሽረው ሜትርን ክሪፕተን በሚባል ጋዝ የብርሃን ሞገድ ቆጠሩት። እሱም አልበቃቸው፤ በ1983 ደግሞ አንድ ሜትር ማለት ብርሃን በአንድ ሴኮንድ 299,792,458ኛ ክፍል ውስጥ የሚሄደው ርቀት ነው ብለው ደነገጉ። እንግዲህ ፍረዱኝ! ጨርቅ ሻጩ አንድ ሜትር ሲቆርጥልኝ፣ ሴኮንዱን ሦስት መቶ ሚሊዮን ቦታ ገደማ ሸንሽኖ የሚያረጋግጥልኝ ማነው? አጎቴ እንደሆነ ሞቷል።

የመሬቱስ ነገር! ድሮ መሬት በገመድ ነበር የሚለካው። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይይዛል፣ ሽማግሌ ይቆማል፣ ጠላ ይወርዳል። ገመዱም እንደ ጎታቹ ጉልበትና እንደ ጠላው ብዛት ይረዝማል፣ ያጥራል። ወሰኑ ግልጽ ነበር፤ «ከዋርካው እስከ ጅረቱ» ይባላል፣ አለቀ። ዋርካው ሲወድቅና ጅረቱ መንገድ ሲቀይር ክስ ይጀመራል፤ ክሱም ያፋቅር ነበር። አባቴና ጎረቤቱ በአንድ ድንበር ሲሟገቱ ጉልምስናቸውን ጨረሱ። ችሎት አብረው ይሄዳሉ፣ ስንቅ ይካፈላሉ፣ ሲመለሱ ዳኛውን አብረው ያማሉ። እንዲህ ያለ ጉርብትና ዛሬ የት ይገኛል?

አሁን ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ ይመጣና ቶታል ስቴሽን የሚሉትን ነገር በሦስት እግሩ ያቆማል። ረዳቱ ማዶ ሄዶ ጫፉ ላይ ፕሪዝም ያለበትን ዘንግ ይዞ ይገተራል። መሣሪያው የማይታይ ብርሃን ይልካል፣ ብርሃኑ ፕሪዝሙ ላይ ነጥሮ ይመለሳል፣ ከተመለሰው ብርሃን ርቀቱ በሚሊሜትር ይሰላል፤ ማዕዘኑም እዚያው ይነበባል። የአባቴን የዕድሜ ልክ ሙግት ከቁርስ እስከ ምሳ ባለው ጊዜ ዘጋው! ጠላ እንኳ አልቀመሰም፤ «ሥራ ላይ ነኝ አባባ» አለኝ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ምን ዓይነት ክርክር ይቻላል? እርግጥ በላይኛው በኩል ጎረቤቶቻችን ገፍተው የያዙት መሬት ተመልሶልናል፤ እሱን በትክክል ለክቷል። በታችኛው በኩል እናንተ ገፍታችኋል ያለን ግን ዓይን ያወጣ ስሕተት ነው። ፀሐይ ነበር፤ ብርሃን ከብርሃን ተጋጭቶበት ይሆናል።

ምድር አልበቃ ብሏቸው ወደ ሰማይም ያበራሉ። የአፖሎ 11 ሰዎች በ1969 ጨረቃ ላይ ወርደው ብርሃን የሚመልስ መስታወት ተክለው መጡ። ከዚያ ወዲህ ከምድር ሌዘር እየላኩ፣ ብርሃኑ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጅበትን ሁለት ሴኮንድ ተኩል ገደማ እየቆጠሩ ርቀቷን ይለካሉ። ምን አገኙ? ጨረቃ በየዓመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር ትሸሻለች! ሒሳቡን ሠራሁት፤ እኔ ከተወለድኩ ወዲህ ሦስት ሜትር ገደማ ርቃለች። እኔማ ታዝቤ ነበር። ልጅ ሳለሁ በጨረቃ ብርሃን መርፌ ላይ ክር አስገባ ነበር፤ አሁን በአምፖል እንኳ እምቢ ብሎኛል። ምክንያቱ ይኸው ነው።

ፀሐይንም አልማሯትም። ኪርክሆፍና ቡንሰን የሚባሉ ሁለት ጀርመኖች በ1859 እና በ1860 እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ሲግል የራሱ የቀለም መስመር እንዳለው አሳዩ። ብርሃኑን በፕሪዝም በትኖ መስመሩን ያነበበ ሰው ዕቃውን ሳይነካ፣ ሳይቀምስ ምንነቱን ያውቃል። በዚሁ ዘዴ በ1868 በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ከሚታወቁት የማይገጥም መስመር ታየ፤ ሂሊየም አሉት። ያው ሂሊየም ምድር ላይ የተገኘው በ1895 ነው። የገዛ ጓዳውን ሳያውቅ የጎረቤቱን ጓዳ የሚያውቅ ሰው በእኛ ሰፈር ይወገዝ ነበር፤ እነሱ ይሸልሙታል። ይኸው በእኛም እንጦጦ ላይ መስታወታቸው 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። እኛ እንጦጦ የምንወጣው ለጸበልና ለማገዶ ነበር፤ ኮከብ እንደሆነ ከደጃችንም ይታያል።

ወደ ገበያ ልመልሳችሁ። በእኛ ጊዜ ማር ሻጭ በማርያም ምሎ ነበር የሚሸጠው። ውኃ የጨመረበትም ይምላል፤ ቢሆንም ፈሪሃ እግዚአብሔር ነበር። ገዢው ጣቱን ነክሮ ይልሳል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያሰላስላል፣ ደግሞ ይልሳል፤ ሦስተኛው ሻጭ ጋ ሲደርስ ምሳውን በልቷል። አሁን የእህቴ ልጅ ሪፍራክቶሜትር የሚሏትን አጭር ቱቦ አመጣልኝ። በሰያፍ የተቆረጠ መስታወቷ ላይ አንዲት ጠብታ ማር ትጨምራላችሁ፣ ክዳኗን ጫን ታደርጋላችሁ፣ ወደ ብርሃን አዙራችሁ በአንድ ዓይን ታያላችሁ። ውስጡ ሰማያዊና ነጭ ሆኖ ለሁለት ይከፈላል፤ ድንበሩ ያረፈበት ቁጥር የውኃው መጠን ነው። ወፍራም ማር ብርሃንን አብዝቶ ያጎብጣል፤ ውኃ ሲገባበት ማጉበጡ ይቀንሳል። የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ በጥቅሉ ማር ከመቶ 20 እጅ በላይ ውኃ አይኑርበት ይላል፤ ከዚያ ካለፈ መፍላት ይጀምራላ። ማር መፍላት ከጀመረ ወደ ጠጅ እየሄደ ነው፤ ይህ ከመቼ ወዲህ ነው ጥፋት የሆነው?

ደግሞ መሣሪያዋ የዋህ ናት። ስኳር አወፍሮ የደባለቀባት ነጋዴ ያታልላታል፤ እሱን ለመለየት ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል። ምላስ ግን አይታለልም! ቱቦዋ ከኮቴ ኪስ አትጠፋም፤ በቀደም የሰፈራችን ማር ሻጭ ላይ አውጥቼ 24 አስነበብኩትና ገበያተኛው ሁሉ ሳቀበት። ሰው ስንት ዘመን በእምነት ሲገበያይ ኖሮ ዛሬ መተማመን ጠፋ።

ዓይንም የራሱ መከራ አለበት። ድሮ ሐኪሙ ግድግዳ ላይ ሰንጠረዥ ይሰቅላል፤ የፈረንጇ «ኢ» እግሯ ወዴት እንደዞረ በእጃችሁ ታሳያላችሁ። እኔ ሰንጠረዡን በቃሌ ስለያዝኩት ዓይኔ እስከ ጡረታዬ ጤነኛ ነበር። አሁን አገጭዎን እዚህ፣ ግንባርዎን እዚያ ይባላል። ውስጡ ረጅም መንገድ ይታያል፣ መንገዱ መጨረሻ ላይ ባለቀለም ትልቅ ፊኛ አለ። «እንዴት ያምራል» እያልኩ ሳለሁ መሣሪያው የማይታይ ብርሃን ወደ ዓይኔ ልኮ፣ ከዓይኔ ጀርባ የተመለሰውን አንብቦ፣ ቁጥሩን በወረቀት አወጣው። አንዲት ቃል አልጠየቀኝም! ዕድሜ ልኬን ያኖርኩት ዓይን በሌለሁበት መሰከረብኝ። መነጽሩ እንኳ ደህና ነው፤ የጎረቤቴ የሃምሳ አለቃ አጥር ላይ የጎደለውን ሚስማር ከበረንዳዬ ሆኜ እቆጥርለታለሁ።

ጣትም አልቀረ። ክሊኒክ ገብቼ ነርሷ «አባባ፣ ጣትዎን» አለችና አንድ ቆንጣጭ ሰካችበት። ቀይ ብርሃንና የማይታይ ብርሃን በጣት ውስጥ ይሰደዳል አሉ። ኦክስጅን የጠገበ ደም ቀዩን ያሳልፋል፣ የማይታየውን ይውጣል፤ የተራበው ተገላቢጦሹን ያደርጋል፤ ከሁለቱ ንጽጽር ቁጥሩ ይወጣል። መላውን ያገኘው ታኩኦ አዮያጊ የሚባል ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሌላ ነገር ሊለካ ሲል የልብ ትርታ እየገባ አስቸገረው፤ ኋላ የሚፈልገው መልስ ያለው እዚያው ረባሹ ትርታ ውስጥ መሆኑ ገባው። በዚህ ሰውዬ አልከፋም። የሚረብሽ ነገር ጥቅም አለው ብሎ አምኗል፤ የእኔ ቤተሰብ እዚህ አልደረሰም።

ሆኖም ብርሃን አያዳላም የምትሉ ስሙኝ። አሜሪካ ውስጥ በ2020 የወጣ ጥናት መሣሪያው የጥቁር ሕመምተኞችን የኦክስጅን ማነስ ሳያይ የሚያልፈው ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን መሆኑን አሳይቷል። የድሮ ሐኪም የዓይን ቆብ ገልብጦ፣ ጥፍርና ከንፈር አይቶ ነበር የሚፈርደው፤ ቢሳሳትም ለሁላችን እኩል ይሳሳት ነበር። ስለዚህ ይህን ቆንጣጭ አላምነውም። ለማንኛውም የእኔ 95 ነው፣ የሃምሳ አለቃ 92፤ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ አስታውሰዋለሁ።

ሜሪላንድ ያለችው ልጄ ደግሞ ሰዓት ላከችልኝ። ከሆዱ አረንጓዴ ብርሃን ይብለጨለጫል። ደም ቀይ ስለሆነ አረንጓዴውን ይውጣል፤ ደሙ በመጣና በሄደ ቁጥር የሚመለሰው ብርሃን ያንሳል፣ ይበዛል፤ የልቤም ምት ይቆጠራል። ይቁጠር። ግን በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ወንበሬ «ተነሥ» ማለቱ ምን የሚሉት ድፍረት ነው? እነሣለሁ፤ በእሱ ትእዛዝ እንዳይመስላችሁ፣ ልነሣ ስል እየቀደመኝ ነው።

ከሁሉ ያበገነኝ የትኩሳቱ ነው። በእኛ 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ በየበሩ ያለ ጥበቃ ግንባሬ ላይ ሽጉጥ ይደቅን ጀመር። በእኛ ጊዜ የሰው ግንባር ላይ የሚያነጣጥር ሰው ቢያንስ ቂም ነበረው! የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ አይተኩስም እኮ፤ ይቀበላል እንጂ» አለኝ። ሙቀት ያለው ገላ ሁሉ የማይታይ ብርሃን ይረጫል፤ መሣሪያው ያንን ሰብስቦ በዲግሪ ይናገራል። ይህን ብርሃን ያገኘው ዊልያም ሄርሼል ነው። በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ቴርሞሜትር ሲያኖር፣ ከቀዩ ወዲያ ምንም በማይታይበት ቦታ ቴርሞሜትሩ ይበልጥ ሲግል አየ። እንግዲያው እኔም አበራለሁ ማለት ነው። ለባለቤቴ ብነግራት «መቼም እስካሁን አላየሁትም» አለች።

እናቴ በእጇ ጀርባ ግንባሬን ነካ አድርጋ ምች መሆኑን፣ የት እንደመታኝና የማንን ምክር ባለመስማቴ እንደሆነ በአንድ ጊዜ ታውቅ ነበር። ወዲያው ዳማከሴ ታሽልኛለች። ሽጉጡ 36.4 ይልና ዝም ነው፤ ምክር የለ፣ ቁጣ የለ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ አደራ! የልጅ ልጃችሁን ሲያተኩሰው መጀመሪያ እጃችሁን ግንባሩ ላይ አድርጉ። ከዚያ ለማረጋገጥ ያህል በሽጉጡ ለኩት። ቁጥሩ ከእጃችሁ ጋር ካልተስማማ ባትሪው አልቋል ማለት ነው።