እንቁላሉ ጫማ ያደረገ ዕለት

ለንደን የሄድኩት እህቴን ልጠይቅ እንጂ ዕቃ ልሰበስብ አልነበረም። በርበሬ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ ያጨናነቀው ሻንጣዬ ቀለል ብሎት እንዲመለስ ነበር ሐሳቤ። ይህን ሁሉ ያበላሸው አንድ ቅቅል እንቁላል ነው።

የእህቴ ጎረቤት በዕድሜ የገፉ እንግሊዛዊት ናቸው። በደረስኩ በሦስተኛው ቀን ቁርስ ጠሩኝ። እህቴ ሥራ መግባት ስላለባት፣ "ያቀረቡልህን ብላ፤ ብቻ እጅህን ሰብስብ" ብላኝ ሄደች። የምትለው የገባኝ ሳሎኑን ሳየው ነው። ግድግዳውን ይዞ የቆመ የመስታወት ቁም ሣጥን አለ፤ ጢም ብሎ የሞላው በሲኒ ነው። እጀታ የለውም፤ መጠኑም የእኛኑ ሲኒ ያህላል። አበባ የተሳለበት፣ ከንፈሩ ወርቅ የተቀባ፣ ዶሮ የመሰለ፣ የብር፣ የእንጨት፣ ምን ቅጡ! "እኚህ ሴትዮስ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለው የሚያቆሙ አይደሉም" አልኩ በልቤ።

"ሁለት መቶ አሥራ አራት ናቸው" አሉኝ ዓይኔን ተከትለው።

"ይህን ሁሉ ቡና ጠጪ ከየት ያገኙለታል?"

ሳቁ። ለካ የቡና አይደሉም። አንድ ቅቅል እንቁላል ሳይንከባለል ቀጥ ብሎ የሚቆምባቸው ናቸው፤ ሌላ ሥራ የላቸውም። በእኛ ቤት እንቁላል ዙፋን ተሠርቶለት አያውቅም፤ በፋሲካ ከአሥራ ሁለቱ ብልት ጋር ወጥ ውስጥ ተጋድሞ ነው የሚቀርበው። እዚያ ግን ለብቻው ወንበር አለው። የወንበሩ ሰብሳቢም ማዕረግ አለው፤ "ፖሲሎቪስት" ይባላል፤ "የእንቁላል ትንሽ ጽዋ" ከሚለው ላቲን የተወለደ ስም ነው። ነገሩም የትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ79 እሳተ ገሞራ ከቀበራት ከፖምፔ ከተማ እንኳ ከብር የተሠሩ ወጥተዋል። ሴትዮዋ ይህን ሲያጫውቱኝ፣ "እሳተ ገሞራው ደህና አድርጎ አስቀመጠልን" ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

እንቁላሉ ቀረበ። ከዚያም ፈገግ ብለው፣ "ወታደሮችስ ይፈልጋሉ?" አሉኝ።

እኔ ባደግሁበት ዘመን "ወታደር መጣ" ሲባል የሚጠየቀው "ስንት ሆነው?" ነው እንጂ "ትፈልጋለህ?" ተብሎ አይታወቅም። ሳላስበው ኪሴን ዳበስኩ፤ ፓስፖርቴ አለ። ሴትዮዋ ወደ ወጥ ቤት ገብተው ወታደሮቹን በሰሐን ይዘዋቸው መጡ፤ በጣት ልክ በቁመቱ የተቆረጠ የተጠበሰ ዳቦ! ገና ባልረጋው አስኳል ውስጥ እየነከሩ ይበሉታል። በሕይወቴ ወታደር ስበላ የመጀመሪያዬ ነው።

እንቁላሉን እንደ ለመድኩት ገበታው ላይ ገጭ አድርጌ ልልጠው ስል ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጆናታን ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1726 ባሳተመው የጉሊቨር ጉዞ መጽሐፉ፣ የሊሊፑት ድንክዬ ሰዎች ከጎረቤታቸው ጋር የሚዋጉት እንቁላል በደንዳናው ጫፍ ይሰበር ወይስ በሹሉ በሚል ጠብ ነው። በሹሉ ከምንሰብር ብለው አሥራ አንድ ሺህ ሰዎች ሞትን እንደመረጡ ጽፏል። እንዲህ ያለ ቀልድ በተጻፈበት አገር ቁርስ የሚበላ እንግዳ መጠንቀቅ አለበት። ሴትዮዋ በየት በኩል እንደሚመቱ እስካይ ማንኪያዬን አላነሳሁም። በሹሉ መቱ፤ እኔም በሹሉ መታሁ፤ ሰላም ሆነ።

ማንኪያዋ ከአጥንት የተሠራች ነች። ያን ያህል የብር ዕቃ እያለ ለምን አጥንት? እንቁላል ውስጥ ያለው ድኝ ብርን ያጠቁረዋል አሉኝ። ለዚህም ነው የድሮዎቹ የብር የእንቁላል ማንኪያዎች አፋቸው ላይ ወርቅ የሚቀቡት።

"ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ በስንቶቹ ይበሉባቸዋል?" አልኩ በመጨረሻ።

"በእነዚሁ በሁለቱ። የቀሩት እንዳይሰበሩ ነው።"

ሳቄን በወታደር አፈንኩት። እንቁላል አይተው የማያውቁ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የእንቁላል ሲኒዎች! ማታ ለእህቴ ስነግራት ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

ቅዳሜ ማለዳ ሴትዮዋ ፖርቶቤሎ መንገድ ይዘውኝ ወጡ። ቅዳሜ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ዋነኛ ቀን ነው። ከኖቲንግ ሂል ጌት ባቡር ጣቢያ ወጥቶ ሰው ወደሚጎርፍበት መጉረፍ ነው፤ የሚጠፋ የለም። ሴትዮዋ እየሄዱ አስተማሩኝ፦ ዕቃውን መጀመሪያ ገልብጦ ሥሩን ማየት ነው። "ኢንግላንድ" የሚል ካለበት፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ምክንያት ፋብሪካዎች ያገር ስም መጻፍ ከጀመሩ ወዲህ የተሠራ ነው ማለት ነው፤ "ሜድ ኢን ኢንግላንድ" ካለ ደግሞ ባብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ በጥፍር መታ አድርጎ ጆሮን መስጠት። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ተሰንጥቋል። በዚህኛው ትምህርት አልተደነቅሁም። እናቴ ጀበና ስትገዛ እንዲሁ ነው የምታደርገው፤ እሷ ግን ፖሲሎቪስት ያላት የለም።

አንድ ጠረጴዛ ላይ ስደርስ እግሬ ተተከለ። ነጭ የእንቁላል ሲኒ ነው፤ ግን ሁለት እግር አለው! የሰው እግር፤ ካልሲ ያጠለቀ፣ ጫማ ያደረገ፣ አንዱን አስቀድሞ ሊራመድ የተነሣ። ሴትዮዋ ወዲያው አወቁት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሮጀር ሚሼልና ዳንካ ናፒዮርኮቭስካ ነድፈውት፣ የስቶክ ኦን ትሬንቱ የሸክላ ፋብሪካ ካርልተን ዌር ያመረተው ነው፤ "የሚራመድ ሸክላ" ይሉታል።

እኔ ግን የማውቀው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል! ትምህርት ሲከብደኝ፣ ደመወዝ ሲዘገይ፣ ቤት ሳልሠራ ስቀር ሲነገረኝ የኖረው ተረት ለንደን ላይ ጫማ አድርጎ ቆሟል። እኛ ጫጩቱ እግር እስኪያወጣ ሃያ አንድ ቀን እንጠብቃለን፤ እንግሊዞች መጠበቁ ሰልችቷቸው ቅቅሉን ካልሲ አልብሰውታል።

"ስንት ነው?"

"ሃያ ፓውንድ" አለ ነጋዴው።

"አምስት።"

ሴትዮዋ አጠገቤ ቆመው የሌላ ነጋዴ ዕቃ በትኩረት ማየት ጀመሩ። ነጋዴው ፈገግ አለ፤ "ለእርስዎ አሥራ ስምንት።" በመርካቶ ሕግ ቀጣዩ እርምጃ የታወቀ ነው፦ ጥሎ መሄድ። ጣልኩት። ከአሥር እርምጃ በኋላ "ና እስቲ! መጨረሻውን ንገረኝ!" የሚል ድምፅ መምጣት አለበት። አሥር ሄድኩ፤ ዝም። አካሄዴን ቀነስኩ፤ ዝም። የጫማ ክሬን ፈትቼ አሰርኩ። ለንደን ጸጥ አለች። ቀና ብዬ ዞር ስል አንዲት ጎብኚ ሲኒዬን አንሥታ ሥሩን ገልብጣ ታያለች!

እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም፤ እግር የነበረው እንቁላሉ ብቻ አልነበረም። ጎብኚዋ መልሳ እስክታስቀምጠው ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚያም አሥራ ስምንት ፓውንድ ቆጥሬ ዘረጋሁ።

"ሃያ ነው" አለኝ።

"አሥራ ስምንት አላሉኝም እንዴ?"

"እሱ ቅድም ነበር።"

ሃያውን ከፈልኩ። መንገድ ላይ ሴትዮዋ በትሕትና፣ "እዚህ አገር እኮ የሄደ ሰው እንደ ሄደ ነው የሚቆጠረው" አሉኝ።

አዲስ አበባ የገባሁት በዐቢይ ጾም ነው። እናቴ ሲኒውን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። "ጫማውን አውልቆ አይገባም?" አለችና በጥፍሯ መታ አድርጋ አዳመጠችው። ጥርት ብሎ ጮኸ። ከመቀመጫዋ ተነሥታ ቡፌውን ከፈተች።

ቡፌው! በሠርጓ ማግስት የገቡት ባለ ወርቅ ቅብ ብርጭቆዎች፣ ጽጌረዳ ያለባቸው ሰሐኖች፣ ሻይ ቀድቶ የማያውቅ ባለ ማንቆርቆሪያ የሻይ ዕቃ፣ እኛ ልጆቿ በመስታወት እያየን ያደግናቸው፣ አንድም ቀን ያልበላንባቸው። ለንደን ላይ እስከ እንባ የሳቅሁት ሳቅ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እናቴ ሲኒውን በብርጭቆዎቹ መሐል አቁማ ቆለፈችበት።

ፋሲካ ደረሰ። ከቅቅሉ አንድ ለይቼ፣ "እማዬ፣ ያቺን ባለጫማ ስጪኝማ፤ ልብላባት" አልኳት።

"ምን ሲደረግ? እሷ ለእንግዳ ናት!"

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ መሄዱን አምናለሁ፤ ከለንደን ድረስ መጥቷል። የቡፌው ቁልፍ ግን እናቴ መቀነት ላይ ነው።