ከልብ በበር ይግባ

አጎቴ ገዳሪፍ ላይ አንድ ውሻ ነበረው፤ ስሙ ከልብ ይባላል። ስሙን ያወጣለት በአማርኛ ነው፤ «ከልቤ ስለምወደው» ይላል። በዐረብኛ ከልብ ማለት ውሻ መሆኑ ጠፍቶት አይደለም፤ አርባ አምስት ዓመት ሙሉ የገዳሪፍን የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ትራክተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ዐረብኛ ያስተምራል እንጂ አይማርም። ግን አጎቴ አንዴ የተናገረውን አይመልስም።

መዘዙ የመጣው ገበያ መሐል ነው። ውሻው ከሥጋ ቤት ደጃፍ አልነሣ ቢለው «ና አንተ ከልብ!» ብሎ ጮኸ። ጀላቢያቸውን አንጣለው የሚሄዱ ሦስት ትልልቅ ነጋዴዎች እኩል ዞሩ። እዚያ አገር ሰውን «ከልብ» ማለት ሽማግሌ የሚያስቀምጥ ስድብ ነው። አጎቴ ሦስት ብርጭቆ ሻይ ከፍሎ፣ ውሻውንም ለምስክርነት አቅርቦ ታረቀ። ይህን ለአንድ ቄስ ባጫውታቸው «ምኑ ያስቃል? በግእዝም ውሻ ከልብ ነው» አሉኝ። ለካ አጎቴ ፍቅሩን የገለጸ መስሎት በሁለት ቋንቋ ውሻን ውሻ ሲል ኖሯል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ፈነዳ። ጦርነቱን የሸሸ ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ፤ ከፊሉም ከዚያ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በጋላባት በኩል ወደ መተማ ይሻገር ጀመር። አጎቴም ደወለ። ስልኩን ያነሣችው እናቴ ናት።

«እታለም፣ ልመጣ ነው።»

«እሰይ! እሰይ ወንድሜ!»

«የምመጣው ግን ከከልብ ጋር ነው።»

«ከልብህ ከሆነማ ምን ቀረህ! ና!»

ውሻ መሆኑን ያወቀችው ከሳምንት በኋላ ነው።

ለእኔ የደረሰኝ ሥራ ሕግ ማንበብ ነበር። «ፊደል የቆጠርህ አንተ ነህ» አለኝ፤ «ውሻ ድንበር ሲሻገር ምን ምን እንደሚያስፈልገው አጣርተህ ንገረኝ። ያለ ወረቀት አላሻግረውም።» እኔ የአገራችንን ደንብ ፍለጋ ስዳክር፣ ፍራንክፈርት ያለችው ልጁ ቀደመችኝና የአውሮፓን ላከችለት። አጎቴም ጋላባትን ለመሻገር የብራስልስን ሕግ ይዞ ይጠይቀኝ ጀመር።

«መጀመሪያ ቺፕ ይላል። ምንድን ነው?»

«የሩዝ ፍሬ የምታክል ናት አያ። አንገቱ ላይ ከቆዳው ሥር በመርፌ ትገባለች። 15 አኃዝ ያለው ቁጥር አላት።»

«ካርድ ይሞላባታል?»

«አይሞላባትም።»

«ሲጠፋ ብደውልለት ያነሣል?»

«አያነሣም አያ።»

«ታዲያ ቁጥሩ ምን ሊሠራለት ነው!»

ቀጠልን። ውሻው ቢያንስ 12 ሳምንት ሞልቶት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወጋል። ኢትዮጵያም ሱዳንም አውሮፓ ከምታምናቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የሉበትምና ክትባቱ ብቻ አይበቃም። ከተወጋ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደሙ ይቀዳል፤ እውቅና ባለው ቤተ ሙከራ ይመረመራል፤ ክትባቱ በደሙ ውስጥ ያፈራው መከላከያም በሚሊ ሊትር ከ0.5 አሃድ ማነስ የለበትም። ይህንንም አለፈ እንበል። አሁንም አይገባም፤ ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ይጠብቃል።

«ፈተናውን ካለፈ ምን ይጠብቃል?» አለ አጎቴ።

ይህን ሲለኝ አያቴ ትዝ አለችኝ። ስምንት ዓመቴ ላይ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ውሻ ባቴን ነከሰኝ። አያቴ ቁስሉን በውሃና በሳሙና እሪ እስክል አጥባ አጥባ ስታበቃ አወጀች፦ «አርባ ቀን ወንዝ አትሻገር!» በእብድ ውሻ የተነከሰ ሰው ወንዝ ከተሻገረ መድኃኒቱ አይሠራለትም ትላለች። ትምህርት ቤታችን ከወንዝ ማዶ ነበር። የአያቴን ሕግ እንደ እኔ አክብሮ የፈጸመ ዜጋ አልተፈጠረም። ችግሩ መርፌው ያለው ጎንደር መሆኑ ነው፤ የዚያን ጊዜው መርፌ ደግሞ ሆድ ላይ፣ እንብርት ዙሪያ፣ በየቀኑ ነበር የሚወጋው። «እስከ ጎንደር እኮ ስንት ወንዝ አለ!» ብዬ ሕጉን ብጠቅስባት፣ «በመኪና ከሆነ አይቆጠርም» ብላ ፈረደች። ትምህርት ቤት በመኪና ስለማይኬድ የእሱ እገዳ ጸና። ሆዴ ወንፊት ሆኖ ተመለስሁ። ያዳነኝ መርፌው ነው፤ አያቴ ግን ወንዙ ነው እንዳለች አረፈች።

አያቴና ብራስልስ ሳይተዋወቁ የተገናኙበት ቦታ አለ፤ ሁለቱም ቀን ይቆጥራሉ። የሚቆጥሩት በሽታው እግረኛ ስለሆነ ነው። ከንክሻው ተነሥቶ በነርቭ በነርቭ እያዘገመ አንጎል እስኪደርስ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ይፈጅበታል፤ አንዳንዴ በሳምንት ይደርሳል፣ አንዳንዴ ዓመት ያልፈዋል። እሱ መንገድ ላይ ሳለ ውሻው ይበላል፣ ይጫወታል፣ ጭራውን ይቆላል። አንጎል ደርሶ ምልክቱ ከታየ ግን ለሰውም ለውሻም መመለሻ የለውም ማለት ይቻላል። እንግዲህ ሦስት ወሩ «መንገደኛ ካለ ይድረስና እንየው» ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ እስከ 99 በመቶው ሰው ላይ የሚደርሰው በውሻ ነው። የእኛ ሰው ግን ይህን ሁሉ አንቀጽ በአራት ቃል ጨርሶታል፤ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል።

አጎቴ ጥቂት ዝም አለና «ጅቡ እንዳይገባ ነዋ!» አለኝ። «በል አሁን የአገሬን ንገረኝ።»

የአገራችን አይከብድም ነበር። የእንስሳት በሽታዎችን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣ አዋጅ ቁጥር 267/1994 የሚባል ነበር፤ ለውሻ ይፈለግ የነበረውም ከመጣበት አገር የተሰጠ የጤና ምስክር ወረቀትና የክትባት ማስረጃ ነው። «እኔ ሠላሳ ቀኑን እጨምርበታለሁ» አለ አጎቴ። «ክትባት ወግቶ በማግስቱ መሮጥ የሌባ ነገር ነው።»

ገዳሪፍ ላይ አንድ የእንስሳት ሐኪም ውሻውን ወጋውና ወረቀት መሙላት ጀመረ።

«የእንስሳው ዓይነት?»

«ከልብ።»

«ስሙስ?»

«ከልብ።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «ያ ዞል! ዓይነቱን ጽፌያለሁ። ስሙን ነው የምጠይቅህ።»

«ከልብ ነዋ!»

ወረፋው ከኋላ ያጉረመርም ጀመር። ሐኪሙ ሁለቱም መስመር ላይ ከልብ ብሎ ጻፈ፤ ማኅተሙን የመታው ራሱን እየነቀነቀ ነው።

አጎቴ ጓዙን ጭኖ ጋላባት ወዳጁ ቤት አረፈና ቀን ይቆጥር ገባ። ጋላባትንና መተማ ዮሐንስን የምትለያቸው አንዲት ትንሽ ድልድይ ናት። በዚህ አገር መጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ወድቀውበታል። በ1894 ዓ.ም. ምኒልክና እንግሊዞች ወሰኑን ተፈራርመዋል፤ በማግስቱም ዓመት ሜጀር ግዊን የሚባል እንግሊዛዊ ምልክት እየተከለ አልፎበታል። ውሾቹን ግን ያማከረ የለም። ከልብ ጠዋት ጋላባት የፉል ትራፊ ቀማምሶ፣ ቀትር ላይ መተማ ሥጋ ቤት ደጃፍ ተጋድሞ፣ ማታ ለእራት ወደ ጌታው ይመለሳል። እኔ መተማ ወርጄ ከውሻው ጋር በየቀኑ ስንገናኝ፣ ከአጎቴ ጋር የምንገናኘው በስልክ ነው።

«አያ፣ ውሻው እኮ እዚህ ነው። የቀረኸው አንተ ነህ!»

«እሱ ሊሸምት ወጥቶ ነው። ገና አልገባም» ይለኛል።

ሠላሳኛው ቀን ደረሰ። ከእናቴ ጋር በማለዳ ድልድዩ አጠገብ ቆምን። አጎቴ የታጠበ ጀላቢያ ለብሶ፣ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። ተቆጣጣሪው ተቀብሎ አነበበና «ውሻው የታለ አባባ?» አለው።

እናቴ ወደ ኋላዋ ጠቆመች። ከልብ ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጥላ ይዞ ተኝቷል። «ይኸው ገብቷል እኮ! አንተም ግባ በቃ ወንድሜ!»

አጎቴ ድልድዩ መሐል ቆመ።

«መልሱልኝ» አለ።

የተሣለቀ መስሎን ሳቅን። እሱ ግን አልሣቀም። «እኔ በ70 ዓ.ም. በዚህ ስወጣ ሌሊት ነበር። ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ በጭቃ። ስሜን የጠየቀኝም የጻፈኝም የለም። እሱ በቀን፣ በበር፣ በስሙ ይገባል።»

እናቴ መቀነቷን ፈታ ሰጠችኝ። ከልብን አንገቱን አሥሬ፣ ሰው እየሣቀ፣ ወደ ጋላባት ጎተትሁት፤ ከዚያም ለአጎቴ አስረከብሁትና አብረው መጡ። ተቆጣጣሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦ «ዓይነት፣ ከልብ። ስም፣ ከልብ።» አጎቴን ቀና ብሎ አየው፤ አጎቴም እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ማኅተሙ ጧ አለ።

«የውሻው ተሟልቷል። የእርስዎንስ?»

አጎቴ የጀላቢያውን ቀኝ ኪስ ዳበሰ። ግራውን ዳበሰ። ፌስታሉን ገለበጠ። የራሱን ወረቀት ጋላባት ትራሱ ሥር ረስቶት ኖሯል።

ተመልሶ ሄደ። ከልብም መቀነቱን እየጎተተ ተከተለው፤ ማኅተሙ ገና አልደረቀም ነበር።