እኛ ስናወራ ጥናት ነበር

የሰፈሩ ጎረምሶች ጀበና ቡና የሚጠጡባት ጥግ ከመስኮቴ ሥር ናት። በዚህ የተነሣ ሳልመዘገብና ሳልፈልግ የቴዲ አፍሮ ሕይወት ሊቅ ሆኛለሁ። አዲሱ አልበም በዚህ ወር ይወጣል። የለም፣ ለፋሲካ ነው። የለም፣ ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራ ሰው የአክስት ልጅ ለእንቁጣጣሽ ነው ብሏል። ፂሙን ያሳደገው ምን አስቦ ነው? ያቺን ባርኔጣ ያመጣት ከየት ነው? ትናንት ማታ በቦሌ ያለፈችው መኪና የሱ ናት ወይስ የሌላ ሰው? በአንድ ስኒ ቡና ሦስት ሰዓት ሙሉ ይህንን ሲፈትሉ ይውላሉ። ዘፈኑን የሚያነሣ ግን አንድም ሰው አልሰማሁም።

መስኮቱን ከፍቼ "እናንተ ልጆች፣ ሥራ የላችሁም?" ብዬ ስጮህባቸው "ጋሼ ይምጡ እንጂ፣ አቦሉ ደርሷል!" ይሉኛል። በዚህ ትውልድ አንጀቴን የሚያሳርረኝ አንዱ ይኸው ነው። ሲቆጡት ቡና ይጋብዛል። ደህና አድርጎ መጣላት እንኳ አልተቻለም።

ቴዲን ጠልቼው አይደለም። የዘር ነው፤ አባቱ የግጥምና የዜማ ሰው ካሣሁን ገርማሞ፣ እናቱ ተወዛዋዥዋ ጥላዬ አራጌ ናቸው። በ1993 "አቡጊዳ"ን፣ በ1997 "ያስተሰርያል"ን ሲያወጣ ሬዲዮኑን አልዘጋሁበትም። በ2004 "ጥቁር ሰው" ብሎ ስለ ምኒልክና ስለ ዓድዋ ሲዘፍንማ ከወንበሬ ቀና ብያለሁ። በ2009 "ኢትዮጵያ" የተባለው አልበሙ በአሜሪካኖቹ ቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ የተባለ ዕለት ግን ጥጓ በጩኸት ተናወጠች። ምን መጣ ብዬ ወጣሁ። "ቢልቦርድ አንደኛ ሆነ ጋሼ!" ይሉኛል። ቢልቦርድ ምንድን ነው ብላቸው እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ አንደኛው "ትልቅ ነገር ነው ጋሼ" ብሎ ገላገላቸው።

እዚያው አልበም ላይ "ማር እስከ ጧፍ" የሚል ዘፈን አለ። የሐዲስ ዓለማየሁን "ፍቅር እስከ መቃብር" ይዞ የተነሣ ነው። የልጅ ልጄ ጠዋት ሲታጠብ እሱን፣ ማታ ጫማውን ሲያወልቅ እሱን ያንጎራጉራል። ደስ አለኝ። መጽሐፉን አንብቦት ይሆናል ብዬ አንድ ቀን አጠገቤ አስቀመጥኩትና "ለመሆኑ ሰብለ ወንጌል የማን ልጅ ናት?" አልኩት።

"ማን?"

"ሰብለ ወንጌል። በዛብህ የወደዳት።"

"ቆይ ልያት" ብሎ ስልኩን አወጣ። ጣቱን እያንሸራተተ ቆየና "አባባ፣ በዚህ ስም ብዙ ናቸው። የትኛዋ ናት? ሰማያዊ ምልክት አላት?"

"የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት እኮ!" ብዬ ጮህኩ።

"እሳቸውስ አካውንት አላቸው?"

እንግዲህ ይህ ልጅ የዘፋኙን ጫማ ቁጥር ብትጠይቁት ይነግራችኋል።

የኛ ዘመን ግን ሌላ ነበር። እኛ ስለ ጥላሁን ገሠሠ ተሰብስበን ስንነጋገር ወሬ አልነበረም፣ ጥናት ነበር። አራት ነበርን። አንደኛው የጂኦግራፊ መምህር፣ አንደኛው ልብስ ሰፊ፣ አንደኛው ወታደር፣ አራተኛው እኔ። ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት እንገናኝና በሥርዓት፣ ነጥብ በነጥብ እንመረምር ነበር። ለምሳሌ ከወሊሶ የጠፋበትን ጉዳይ እንውሰድ። ልጁ ወሊሶ አያቱ ዘንድ እያደገ፣ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት እየተማረ ሳለ የአገር ፍቅር ቲያትር ሰዎች መጥተው ትርኢት ያሳያሉ። ልቡ ይሸፍታል። ከነሱ መካከል ኢዮኤል ዮሐንስን ቀርቦ ያነጋግረዋል፤ መዝፈን ከፈለግህ አዲስ አበባ ና ይባላል። ያን ሁሉ አገር በእግሩ ሊያቋርጥ አያቱን ሳያስፈቅድ ይነሣል። ቱሉ ቦሎ ላይ ይደረስበትና ዘመድ ቤት አድሮ ይመለሳል። ሁለተኛ ጊዜ ሲጠፋ ግን የጭነት መኪና ላይ ወጥቶ አዲስ አበባ ይገባል። እስከዚህ ድረስ አራታችንም ተስማምተናል።

ያልተስማማነው መኪናው ምን ጭኖ ነበር በሚለው ላይ ነው።

መምህሩ "ቡና ነው" አለ። መንገዱ የጅማ መንገድ ስለሆነ ከጅማ የሚመጣ መኪና ሌላ ምን ይጭናል ባይ ነው። ልብስ ሰፊው "ጤፍ ነው፣ የወሊሶን ጤፍ ማን ይዘነጋል?" ብሎ ተነሣ። ወታደሩ ጠረጴዛውን መታ። ያ ድምፅ በጤፍ አቧራ ውስጥ ተኝቶ የመጣ ልጅ ድምፅ አይደለም፣ ጉሮሮው እዚያው ያበቃለት ነበር፣ ስለዚህ የማገዶ እንጨት መሆን አለበት አለ። እኔ በበኩሌ መኪናው ባዶ ነበር የሚል አቋም ያዝኩ። ለምን ቢባል ሦስቱም ተይዘውብኝ ነበር። ክርክሩ ከቅዳሜ ወደ ቅዳሜ ተሻገረ። ንጉሡ ወረዱ፤ ደርግ መጣ፤ ደርግ ሄደ፤ ጭነቱ አልተወሰነም። በ2001 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ጥላሁን አርፎ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲቀበር አራታችንም ሄደናል። ሕዝቡ ተጨናንቆ ይላቀሳል። መምህሩ እንባውን በእጁ ጀርባ እየጠረገ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና "ቡና ነበር" አለኝ።

እስቲ ይህንን ከባርኔጣ ወሬ ጋር አወዳድሩልኝ።

ጥላሁን በክቡር ዘበኛ የነበረበትን ዘመን ወታደሩ ነው የሚተነትንልን። የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ በኋላ ጥላሁንም ታስሮ እንደነበር ሲነግረን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሩን አይቶ ነው። ስለ ትዳሩም አንሥተን ነበር፣ አልዋሽም። ግን እሱንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው። ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የተወራ ነገር ሐሜት አይባልም።

ዋናው ምርምራችን መድረኩ ላይ ነበር። ጥላሁን ሲዘፍን እንባው እንደሚወርድ የማያውቅ የለም። እኛ እንደ ዛሬ ልጆች "አለቀሰ፣ አላለቀሰም" ብለን አልቀረንም፤ የትኛው ስንኝ ላይ ጀመረ፣ ከቀኝ ዓይኑ ነው ከግራ፣ ሁሉንም መዝግበናል። ልብስ ሰፊው ግን እንባውን አያይም። አንገቱን አስግጎ የሚያየው ኮቱን ነው። የክሳዱ ስፋት ስንት ጣት ነው? ቁልፉ ሁለት ነው ሦስት? ትከሻው ላይ ምን ገብቶበት ነው እንዲህ የቆመው? አንድ ምሽት ከቲያትር ቤት ስንወጣ "ያዝኩት!" ብሎ ጮኸ። በሳምንቱ ለአራታችንም አንድ ዓይነት ሱፍ፣ አንድ ዓይነት ክሳድ፣ አንድ ዓይነት ቁልፍ አድርጎ ሰፋልን። ያንን ለብሰን የጓደኛ ሠርግ ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ እንደገባን የሙሽራው አጎት እየተጣደፉ መጡና "ምነው ዘገያችሁ? መሣሪያችሁስ?" ብለው በወጥ ቤቱ በኩል አስገቡን። ኦርኬስትራው እስኪመጣ ድረስ ምግብ እዚያው ቆመን ነው የበላነው። የዛሬዎቹ የዘፋኙን ፊት ቲሸርት ላይ አትመው ደረታቸው ላይ ይለጥፋሉ። እኛ ልብሱን ለበስን እንጂ ፊቱን አልለበስንም።

አሰማማቸውስ ቢሆን? አምሃ እሸቴ በ1961 የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር አንዷን ሸክላ ለመግዛት ከደመወዛችን እያዋጣን ነበር። የማጫወቻው መርፌ አርጅቶ በዘለለ ቁጥር ክንዱ ላይ ስሙኒ እናስቀምጥበታለን። ስሙኒው ሲከብድ ዘፋኙ እንቅልፍ እንደመጣበት ይጎተታል፣ አሥር ሳንቲም ስናደርግ ደግሞ ይዘላል፤ ትክክለኛውን ሚዛን ለማግኘት ግማሽ ሌሊት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ግን ያንን ዘፈን እስከ መጨረሻው ሳትሰማ ትነሣለህ? የልጅ ልጄ አንዱን ዘፈን 15 ሴኮንድ ይሰማና "ገባኝ" ብሎ ያልፈዋል። ምኑ ነው የገባህ? ገና መግቢያው ነው እኮ!

ባለቤቴ በዚህ ሁሉ ነገር ከኔ ጋር አንድ ሐሳብ አይደለችም። የሷ ሰው ማህሙድ አህመድ ነው። መርካቶ ተወልዶ፣ ሊስትሮ ሆኖ ጫማ ጠርጎ፣ አሪዞና ክለብ በተላላኪነት ሲሠራ አንድ ሌሊት ዘፋኞቹ ሲቀሩ "እኔ ልሞክር" ብሎ መድረክ የወጣ ሰው ነው። ይህንን ታሪክ ከተጋባን ጀምሮ ትነግረኛለች፤ የምትነግረኝም አንድ ነገር እንድሠራ ስትፈልግ ነው። "ማህሙድ ሁሉንም ሠርቷል" ትልና መጥረጊያውን ታቀብለኛለች።

እና ማህሙድ በጥር 2017 በሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን ሲያቀርብ የልጅ ልጄ ሁለታችንንም ይዞን ሄደ። ምስጋና ይገባው ነበር፤ አላመሰገንኩትም። አዳራሹ ስገባ የሰው ራስ የሚታይ መስሎኝ ነበር። የሚታየው ስልክ ነው። ከፊቴ የቆመው ልጅ ስልኩን አንሥቷል፣ ከሱ ፊት ያለውም አንሥቷል፣ እኔ ማህሙድን ያየሁት በልጁ ስልክ ውስጥ በሚታየው በሌላ ልጅ ስልክ ውስጥ ነው። ጥፍር ታክል ነበር። ይህንንም እሺ ብዬ ችዬ ሳለ በስተግራዬ አንዲት ልጅ ጀርባዋን ለመድረኩ ሰጥታ ቆማለች። ሰውየው 80 ዓመት አልፎት፣ ከሕዝቡ ሊሰናበት ቆሞ፣ ጀርባ! አላስቻለኝም።

"ልጄ፣ መድረኩ በዚያ በኩል ነው" አልኳት።

"አውቃለሁ አባቴ፣ ላይቭ ገብቼ ነው። ትንሽ ፈገግ ይበሉ፣ እየታዩ ነው።"

ፈገግ አላልኩም። በነጋታው በመስኮቴ ሥር ሆታ ሰማሁ። ጎረምሶቹ ስልክ ላይ ተደፍተው ይስቃሉ። የኔ ፊት ነው፤ ተቆጥቶ፣ ቅንድቡ ተገጣጥሞ፣ ከላይ "ጋሼ ምን ሆነው ነው?" የሚል ተጽፎበታል። "ጋሼ፣ ታዋቂ ሆኑ እኮ!" አሉኝ። መስኮቱን ዘጋሁት። ትንሽ ቆይቼ ከፈት አደረግኩና ስንት ሰው እንዳየው ጠየቅኋቸው፤ ለጠቅላላ እውቀት ያህል ነው። ያ ቀን ካለፈ ወዲህ የጥጓ ልጆች ስለ ቴዲ ፂም ማውራቱን ቀንሰው ስለኔ ቅንድብ ጀምረዋል። አንዱ "ቀለም ይቀቡታል?" ሲል ሰምቼዋለሁ። አልቀባም።

ችግሩ ባሕር ማዶም ያው ነው። የእህቴ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። አስቴር አወቀ እዚያ ዋሽንግተን አካባቢ ስትዘፍን የት ነበርሽ ቢሏት ከፊት ረድፍ ናት። የአስቴርን ነገር እኔም በእርጋታ አጥንቼዋለሁ። ጎንደር ተወልዳ፣ አሜሪካ ሄዳ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኮሎምቢያን በሚያህል ትልቅ የፈረንጅ ኩባንያ አልበም ያወጣች ሴት ናት፤ ከሥራዋ ውጪ ሌላ የሚወራ ምን አለ? ልጅቷ ግን እዚያ ሲመሽ እዚህ ሊነጋ መሆኑን የነገራት ሰው የለም። ባለፈው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስልኩ ጮኸ። ክፉ ወሬ መጣ ብዬ እጄ እየተንቀጠቀጠ አነሣሁት። መብራት፣ ጩኸት፣ ከበሮ።

"ጋሼ፣ አስቴር ናት! ይስሙ! ይስሙ!"

"አንቺ ልጅ፣ ሰው ተኝቶ እኮ ነው! ሰዓቱን አታዪም? ያንቺ ኮንሰርት የኔን ደም ብዛት ምን አገባው..." እያልኩ ባለቤቴ ብርድ ልብሱን ገልጣ ተነሣች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ስልኩን ወደ ራሷ አዞረችው።

"የሐበሻ ቀሚስ ነው የለበሰችው" አለች። "ጥበቡ የመኪና ጥልፍ ነው።"

"የምን መኪና? የእጅ ነው። የሸማኔ ሥራ ነው፣ አይታይሽም?"

"የመኪና ነው አልኩህ።"

እኔ እንኳ ዝም ባልኩ ነበር። ግን አርባ ዓመት ከልብስ ሰፊ ጋር ሻይ የጠጣሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር በዝምታ አይታለፍም። መብራቱን አበራሁ። "ልጄ" አልኳት፣ "እስቲ ስልኩን ጠጋ አድርጊው። እጅጌው ላይ። ወደ እጅጌው!"

"ጋሼ፣ ዘፈኑን አይሰሙም እንዴ?"

"ዘፈኑ ይቆይ! ጠዋት ለልብስ ሰፊው ምን ብዬ ልነግረው ነው? እጅጌውን አሳዪኝ!"