የጠፋ ዕቃ ምትክ፦ ስለ ሹራብ፣ ስለ ኮዳ፣ በተለይም ስለ ክዳን

በዚህ አገር ስለ ጠፋ ዕቃ ብዙ ታስቧል። ድሮ ዕቃ ሲጠፋ ሌባ ሻይ ይጠራ ነበር፤ አንድ ልጅ የተበጠበጠ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ መንደሩን ያስሳል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ዕዳውን ይከፍላል። አውጫጭኝም ነበረ፤ የአገሩ ሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ወደቀ ዕቃ ደንግጓል፤ ከባለቤቱ ስለ ኮበለለ ንብ ሳይቀር አስቧል። ከእነዚህ ሁሉ ግን አንዱም የሦስተኛ ክፍል ተማሪን ግምት ውስጥ ያስገባ አይደለም። በሌባ ሻይ ዘመን የጠፋውን ዕቃ የሚፈልገው ልጅ ነበር። ዛሬ ሥራው ተገላብጧል።

ይህ ጥናት ያን ጉድለት ለመሙላት የቀረበ ነው። መረጃው የተሰበሰበው ከሁለት ልጆች፣ ከአራት የትምህርት ዘመንና ከአንድ ኪስ ነው።

አጥኚውን መጀመሪያ የሚገጥመው ችግር የቋንቋ ነው። ልጅ ዕቃ ሲጥል «ጣልኩት» አይልም። «ጠፋ» ነው የሚለው። ሹራቡ በገዛ ፈቃዱ ተነሥቶ ሄዷል፤ ወዴት እንደሄደ ለማንም አልተናገረም። ጠበቅ ተደርጎ ሲጠየቅ «ጠፋብኝ» ይላል። በዚህች «ብኝ» ተበዳዩ እሱ ሆኖ ቁጭ ይላል፤ ከአባት የሚጠበቀውም ማጽናናት ይሆናል። «አጠፋሁ» የምትለው ቃል ዕቃ ማጣትንም በደል መሥራትንም ባንድ ትንፋሽ ስለምትናገር ከልጆቼ አፍ ስትወጣ ሰምቼ አላውቅም። በቤታችን ቃሏን የተናገረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የባለቤቴን ጃንጥላ ታክሲ ውስጥ የረሳው ሰው፣ ማለትም እኔ።

ቃሉ አልያዝ ሲል ወደ አውጫጭኝ ይኬዳል። ልጆቹ ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ፤ እውነቱ ሳይወጣ ማንም አይነሣም፤ ቴሌቪዥንም አይከፈትም። የአንዱን ምሽት ቃለ ጉባኤ እነሆ፦

«ጠዋት ለብሰኸው ነበር?»

«አዎ።»

«ከዚያስ?»

«ሞቀኝ።»

«ከዚያስ?»

«ጎል ሆነ።»

ይህ መልስ ማብራሪያ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋቱ ጥርስ ያፋጫል፤ አራት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ስለዚህ በዕረፍት ሰዓት ሹራብ ሁሉ ይወልቃል። ሜዳው የግብ ቋሚ የለውም። ሹራብ አለ። አራት ሹራብ ሁለት ጎል ይሆናል። ደወል ሲደወል ተጫዋቾቹ ወደ ክፍል ይሮጣሉ፤ የግብ ቋሚ ግን የሜዳው ንብረት ነውና ባለበት ይቀራል። ልጄ ሹራቡን ጣለ ለማለት በእውነት ይከብደኛል። ለስፖርት መሠረተ ልማት አዋጣው።

አዲስ የደንብ ልብስ ሹራብ መግዛት የመሠረተ ልማቱን ወጪ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ ሲሆን ደግሞ ማንም አባት ዓይኑን ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ያነሣል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት አሮጌ መኖሩን መለየት ይገባል። አንደኛው ባሕር ተሻግሮ በቦንዳ ታስሮ የሚመጣው ነው። ይህ ዕቃ እንደ ደረሰበት ቦታ ስሙን ይለውጣል፤ ኬላ ላይ ሲያዝ «ልባሽ ጨርቅ» ነው፣ መርካቶ ሲደርስ «ሰልባጅ» ነው፣ ቤት ሲገባ «ከውጭ የመጣ» ነው። ጥራቱ አይታማም። ችግሩ ቦንዳውን የሞላው የውጭ አገር ሰው ስለ ልጄ ትምህርት ቤት የሚያውቀው ነገር አለመኖሩ ነው። አጋዘን የተጠለፈበት ሹራብ ይገኛል። ሰማያዊም ይገኛል፤ ግን ከሸራ ጥላ ሥር ሰማያዊ የነበረ ሹራብ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ሐምራዊ ይሆናል፤ ከሰልፉም መካከል አንድ ልጅ ብቻ እንደ ጳጳስ ደምቆ ይታያል።

ሁለተኛው አሮጌ ከዚሁ ከሰፈራችን የሚነሣው ነው። ልዋጮች በየበሩ እየተጣሩ ያረጀ ልብስና ጫማ ይሰበስባሉ፤ በምትኩ ሳፋ ወይም ባልዲ ይሰጣሉ። የተሰበሰበው ታጥቦና ተተኩሶ ገበያ ይወጣል። በዚህ መንገድ የልጄን ትምህርት ቤት ሹራብ፣ ከነአርማው፣ በልኩ፣ ክርኑ ላይ ትንሽ ብቻ ሳስቶ አገኘሁ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ እዚህ መጻፍ የጥናቱን ክብር ይቀንሳል። ኮሌታው ውስጥ በቀይ ክር «ናሆም 3ኛ ለ» የሚል ጥልፍ ነበረበት። ልፈታው ሞከርኩ፤ የናሆም እናት ጠንካራ ሴት ናቸው፣ ክሩ ንቅንቅ አላለም። ማን ኮሌታ ገልጦ ያያል ብዬ ተውኩት።

ሹራቡ ለሦስት ሳምንት ያህል ልጅ አለበሰ። ከዚያ ጎል ሆነ። ዘበኛው ከሜዳ አንሥተው ለመምህርቷ ሰጡ፤ መምህርቷ ኮሌታውን ገልጣ አየች። በማግስቱ በሰልፍ ላይ ናሆም ተጠርቶ ሹራቡ ተመለሰለት። ናሆም በዚያች ሰዓት ሹራብ ለብሶ ነበር አሉ፤ ግን ልጅ የሰጡትን ይቀበላል።

«ሹራብህስ?»

«ለናሆም ተመለሰለት።»

«አንተ ምንም አላልክም?»

«ስሙ አለበት እኮ አባዬ።»

ለዚህ መልስ ያለው ይምጣ። ሹራቡን ለማስመለስ በትምህርት ቤቱ በር ላይ የናሆምን እናት አስቁሜ፣ በጨዋ ደንብ እጅ ነሥቼ፣ «እትዬ፣ የልጅዎ ሹራብ የልጄ ነው» ማለት ነበረብኝ። ወረፋ የሚጠብቁ ወላጆች ባሉበት። ተውኩት። ይልቅ የማዝነው ለእሳቸው ነው፤ በሳፋ የለወጡት ሹራብ ሳፋው ሳይጠየቅ በራሱ እግር ተመልሶ ቤታቸው ሲገባ ሌሊቱን እንዴት እንዳደሩት እንጃ።

ካልሲ ጎዶሎ ሲሆን ሁለቱንም ጎዶሎ ማልበስ ነው። እርሳስና ላጲስ አሮጌ አይገዛም። ወደ ክዳን እንለፍ።

ኮዳ ሁለት አካል አለው፤ ገላና ክዳን። ገላው ትልቅ ነው፣ ደማቅ ነው፣ ድመት ተስሎበታል፤ ስለዚህ ቶሎ አይጠፋም። የሚጠፋው ክዳኑ ነው። ክዳን የሌለው ኮዳ ደግሞ ኩባያ ነው፤ ኩባያን ቦርሳ ውስጥ ከደብተር ጋር የሚያኖር የለም። «ከድኖ ያብስለው» የሚለው ያገሬ ሰው ክዳን አለኝ ብሎ ነው።

ክዳን በአራት ይከፈላል፦ ተጠምዛዥ፣ ተጫኝ፣ ባለ ጡጦና ባለ ገመድ። ባለ ገመዱ ከገላው ጋር በአጭር ገመድ የታሰረ ነው። ይህን የፈለሰፈው ሰው ልጆች እንዳሉት አያጠራጥርም፤ ልጆቹ ጥርስ ከማብቀላቸው በፊት የፈለሰፈው ይመስለኛል። ሴት ልጄ ገመዱን በሁለት ቀን ውስጥ በልታ ጨረሰችው። ተጫኙ እየተጫነ አይከደንም፤ ባለ ጡጦው የሰባት ዓመት ሰውን ክብር ይነካል። የቀረው ተጠምዛዡ ነው፤ መከራውም ያለው እሱ ጋ ነው።

ክዳን ለጠፋበት ኮዳ ርካሹ ምትክ ሃይላንድ ነበር። ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ሆኖ ሳለ የባዶ ጠርሙስ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ የቀረ፣ ከዘይት እስከ ጠላ የማይቀዳበት ነገር የሌለ ዕቃ ነው። ክዳኑም ቢጠፋ በየመንገዱ ሞልቷል። ግን ድመት የለበትም። ልጄ ሃይላንዱን ተቀብላ ዝም አለች፤ ከዚያ ዝምታ በኋላ ምን አለሽ ተራ ከመሄድ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም።

መርካቶ ውስጥ ያለው ምን አለሽ ተራ ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው። መልሱም ሁሉም ነገር ነው። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያሉ የሚዞሩት ልጆች፣ ጥንት «ቆርቆሮ ያለው» ይሉ የነበረውን በእርምጃቸው ልክ ያሳጠሩት ማለት ነው፣ የሰበሰቡት ሁሉ የሚፈስሰው እዚያ ነው። ከበርሜል ምድጃ ይወጣል፣ ከጎማ ጫማ ይወጣል። በማዳበሪያ ሙሉ ክዳን የሚሸጥ ሰውም አለ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ እጄን እያወዛወዝኩ ሄድኩ። ልጁ ማዳበሪያውን ዘርግፎ ቀና ብሎ አየኝ።

«ገላውስ ጋሼ?»

«ቤት ነው።»

«ሰው ጫማ ሊገዛ እግሩን ቤት ትቶ ይመጣል?»

ይህ ወጣት የምርምርን ዘዴ ከእኔ በተሻለ ያውቃል። በሁለተኛው ቅዳሜ ገላውን በፌስታል ይዤ ተመለስኩ። ክምሩ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ መግጠም ጀመርኩ። ሃያ ሦስት ክዳን ገጠምኩ። የክዳን ክፋት መልኩ ላይ አይታይም። ግማሹ አፍ ላይ አይቀመጥም፤ ይህ ሐቀኛ ነው። ግማሹ ይቀመጥና ይዞራል፣ ይዞራል፣ መያዣ የለውም፤ ይህ እንደ አንዳንድ መሥሪያ ቤት ነው። አንዱ ብቻ ጥርቅም ብሎ ገጠመ። ውሃ ጨምረን ዘቀዘቅነው፤ ለጥቂት ጊዜ ታገሠና ጠብ አለ። ጠብታዋን በጣቴ ጠርጌ ሳልገዛው ቀረሁ፤ ቀደም ሲል በአንዲት እንዲህ ባለች ጠብታ አንድ የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፍ እንደ እንጀራ አብጦብናል።

በዚህ መሐል ከልጁ ጀርባ የተሰቀለ ሌላ ኮዳ አየሁ። ጥንቸል ያለበት፣ ከነክዳኑ። ክዳኑን ፈትቼ ድመቷ ላይ ሞከርኩት። ገጠመ። ዘቀዘቅኩት። ምንም።

«ይህን ክዳን ስጠኝ።»

«እሱ ባለቤት አለው ጋሼ። ክዳኑን ብሰጥዎ ገላውን ማን ይገዛኛል?»

«እኔ ገላ አለኝ።»

«እኔም አለኝ። የቸገረን ክዳን ነው።»

ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። አጠገባችን ጣሳ የሚቀጠቅጡ ሽማግሌ መዶሻቸውን አስቀምጠው ሽምግልና ገቡ፤ «ይውሰዱት፣ ሁለቱንም ይውሰዱ፣ ልጅ ያለው ሰው ነው» ብለው ፈረዱ። በ80 ብር ገላና ክዳን ገዝቼ፣ ሁለት ገላ ባንድ ክዳን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ጠረጴዛው ላይ የተሰለፉትን ድመትና ጥንቸል አይታ «አንድ ክዳን ልትገዛ አልነበር የሄድከው?» አለች። ነበር።

ሰኞ ጠዋት ልጄን ጥንቸሏን ከነክዳኑ አስይዤ፣ በር ላይ አቁሜ፣ አገጯን ይዤ፣ ቃል በቃል እንዲህ አልኳት፦ «ስሚኝ የኔ እናት። ሌላው ቢቀር ክዳኑን እንዳትጥዪ። ክዳኑን። ምን አልኩሽ?»

«ክዳኑን።»

ማታ ስትመለስ ገና ከበሩ በግራ እጇ ጡጫ ጨብጣ ነበር። ጡጫው ሲፈታ ክዳኑ ላብ በላብ ሆኖ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ጨብጣው ውላለች፤ ሥዕልም በአንድ እጇ ነው የሳለችው።

«አልጣልኩትም አባዬ።»

«ጎበዝ! ጥንቸሏስ?»

«ጠፋች።»

ምን ይባላል? ክዳኑን ተቀብዬ፣ መደርደሪያው ላይ ከነበረችው ድመት ጋር ገጠምኩት። ጥርቅም አለ። በሁለት ቅዳሜ፣ በአራት የታክሲ ጉዞ፣ በ80 ብርና በአንድ ሽምግልና፣ መጀመሪያ የነበረን ኮዳ በትክክል አገኘን።

ስለ ምሳ ዕቃና ስለ ጃኬት የተለየ ክፍል ታስቦ ነበር፤ ነገሩ ያው ስለሆነ ይቅር። ባለቤቴ ያን ዕለት ማታ የምንፈራውን እስክሪብቶ፣ ጨርቅ ላይ ከነካ የማይለቀውን፣ ከመሳቢያ አውጥታ ተቀመጠች። ኮዳውን ከነክዳኑ፣ ሁለቱን ቦርሳ፣ ጃኬቱን፣ ኮፍያውን፣ አዲሱን ሹራብ፣ አንድ በአንድ እየገለበጠች ስም ጻፈችበት። ሁሉም ላይ «ናሆም» ብላ ነው የጻፈችው።

«የልጆቹ ስም እኮ እሱ አይደለም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች ክዳኑን እፍ እያለች። «ቢያንስ ሲጠፋ የት እንደሄደ እናውቃለን።»