የጠርሙሱን ፊት ብቻ ያነበበ አባት

ባለቤቴ ሶዶ መርካቶ ቅቤ ስትገዛ ታሸታለች፣ በጣቷ ነክታ ትቀምሳለች፣ ከየት ወረዳ እንደመጣ ትጠይቃለች፣ በዋጋው ተከራክራ ጥላ ትሄዳለች፣ ተጠርታ ትመለሳለች። እኔ ለልጄ የዓሣ ዘይት ስገዛ ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን አየሁ። አንዱ ላይ 500፣ ሌላው ላይ 1000 ተጽፏል። 1000 ከ500 ይበልጣል። ምርጫዬ ይኸው ነው፤ ከዚህ የረቀቀ ነገር አልነበረውም።

ሙያዬን መደበቅ ፈልጌ ነበር፤ ግን ኑዛዜ ከሆነ ሙሉ ይሁን። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ፈተና በሰጠሁ ቁጥር «ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አንብቡ» እያልኩ የምጮኸው ሰውዬ እኔ ነኝ። ጠርሙሱን አንድ ጊዜም አላነበብኩትም።

ይባስ ብሎ ፋርማሲስቷ የቀድሞ ተማሪዬ ሆና ተገኘች። «ቲቸር፣ ለእርስዎ ነው ወይስ ለልጅ?» አለችኝ በትሕትና። ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ነው ማለት ነበረብኝ። ያን ካልኩ ግን ለምን ትለኛለች፤ ለምን ካለችኝ ደግሞ የመምህሩ ልጅ ሒሳብ እንደከበዳት ከሰዓት በኋላ ሶዶ ይሰማል። ስለዚህ «ለራሴ ነው፣ ጉልበቴን ያመኛል» አልኳት። ልጅቷ ምን ታድርግ? ጉልበቱን ለሚያመው ጎልማሳ የሚሰጠውን ምክር አንድ ሳታጓድል መከረችኝ። ጉልበቴ ደህና ነው።

ልጄን የጎደላት ዘይት እንዳልሆነ ያኔም ጠርጥሬ ነበር። ማታ ደብተሯን ዘርግታ ስትቀመጥ እኔ ኳስ የሚታይበት ቤት ነኝ። ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ዛማሌክን በፍጹም ቅጣት ምት ከኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ያስወጣበትን ጨዋታ እንደ ዳዊት እደግመዋለሁ። ልጄ ማካፈል መቼ እንደጀመረች ግን አላውቅም። የዓሣ ዘይትን የወደድኩትም ለዚህ ነው፤ ከፍለው ይገላገሉታል። አማቴ ጠርሙሱን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ይህ የሚሰጣት ስለማይገባት ነው ወይስ የሚያስረዳት ስለጠፋ?» አሉኝ። ቡና ቀረበና ዳንኩ።

አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ኳሱ ሲቀርብኝ የጠርሙሱን ጀርባ በባትሪ አነበብኩት። 1000 ሚሊግራም የሚለው የአንዱ እንክብል ዘይት ጠቅላላ ክብደት ነው። ከዚያ ውስጥ ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ 120፤ ሲደመር 300። የዓሣ ዘይት የሚገዛው በእነዚህ በሁለቱ የኦሜጋ 3 ዓይነቶች ምክንያት ነው፤ የቀረው 700 ሌላ ቅባት ነው። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው የባለሙያዎች ሪፖርት ደግሞ ከ6 እስከ 10 ዓመት ላለ ልጅ የሁለቱን ድምር በቀን ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ያደርገዋል። በማግስቱ ሳሙና የምፈልግ መስዬ ፋርማሲው ገባሁና የናቅሁትን 500 አየሁት። ድምሩ 250፣ እንክብሉ ትንሽ፣ ከታች «ለልጆች» የሚል ጽሑፍ አለበት። ልለውጠው አልቻልኩም፤ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ሳሙና ገዝቼ ወጣሁ።

ትልቁን እንክብል ልጄ መዋጥ አቃታት። በመርፌ በስቼ ማንኪያ ላይ ጨመቅሁላት፣ ማር ጨመርኩበት። ክፍል ውስጥ ሲያገሳት ሽታው ሦስት ዴስክ አልፎ ይሄድ ነበርና ጓደኞቿ «አምባዛ» አሏት። ሒሳቧ ባለበት ነው፤ ቅጽል ስም ግን አተረፈች።

ሐሳቡን ከየት አመጣኸው ለምትሉኝ፣ ውጭ አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ በስልክ የነገረኝ የኦክስፎርድ ጥናት ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። በንባብ ደከም ያሉ፣ ከ7 እስከ 9 ዓመት የሆናቸው 362 ልጆች ተካተውበት ከፊሎቹ ለ16 ሳምንት በቀን 600 ሚሊግራም ዲኤችኤ፣ ከፊሎቹ አስመሳይ እንክብል ወሰዱ። በጠቅላላው ልዩነት አልታየም፤ መሻሻል የታየው በንባብ እጅግ ደካማ በሆኑት ላይ ነው። እኔ ጆሮ ላይ የደረሰው «ንባብ ተሻሻለ» የሚለው ብቻ ነበር። ንባቡን ወደ ሒሳብ የለወጥኩት እኔው ራሴ ነኝ፣ ያለ ማንም እርዳታ። ተመራማሪዎቹ ያንኑ ሙከራ በ376 ልጆች ደግመውት በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ውጤት ያ መሻሻልም ሳይታይ ቀረ። ይህን የአክስቴ ልጅ አልነገረኝም፤ እኔም የምፈልገውን ከሰማሁ በኋላ አልጠየቅሁትም። ደግነቱ ብቻዬን አይደለሁም። በ2006 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ዱርሃም ካውንቲ 5,000 ለሚሆኑ ተፈታኞች የዓሣ ዘይት ለማደል ተነስቶ፣ የሚነጻጸሩ ሌሎች ተማሪዎች ስላላዘጋጀ ሳይንቲስቶች ወርደውበታል። ይህን ሳነብ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ከሴቷ የተማርኩትን ለወንዱ ብጠቀምበት ደግ ነበር። ታናሽየው ሦስት ዓመቱ ነው። ለእሱ ደግሞ ኮድ ከሚባል ዓሣ ጉበት የሚወጣ ዘይት ገዛሁለት፤ ዓሣ ዓሣ ነው ብዬ። የዓሣው ሥጋ ዘይትና የጉበቱ ዘይት ለካ የተለያዩ ናቸው። ቫይታሚን ኤ ያልተቀነሰለት የኮድ ጉበት ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያው 4,500 ዩኒት ያህል ቫይታሚን ኤ ይይዛል፤ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ሕፃን ግን በቀን ሊታለፍ የማይገባው ጣሪያ 2,000 ነው። ትርፉ በሽንት አይወጣም፤ ጉበት ውስጥ ይከማቻል፣ ሲበዛም ይጎዳል። በዚያው ሰሞን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቫይታሚን ኤ ልትሰጠው መጣች። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላሉት በየስድስት ወሩ የሚሰጠው 200,000 ዩኒት ነው፤ መጠኑ የበዛው ለስድስት ወር ታስቦ ነው። «ልጁ ሌላ የሚወስደው ነገር አለ?» ብላ ጠየቀች። «ምንም» አልኳት። በነፃ የሚሰጥ ነገር እንዳያመልጠኝ ነው። ጠርሙሱን ያነሳሁት ማታ ጀርባውን ካነበብኩ በኋላ ነው።

ጂኦግራፊውን ደግሞ ተመልከቱልኝ። ይህ ዘይት ስም ያወጣው ክረምታቸው ጨለማ በሆነ የሰሜን አገሮች ልጆችን ፀሐይ በማጣት ከሚመጣው የአጥንት መለስለስ፣ ከሪኬትስ፣ ስላዳነ ነው። በ1919 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ሜላንቢ የተባለ እንግሊዛዊ፣ ቤት ዘግቶባቸው በአጃ ያሳደጋቸውን ቡችሎች አጥንታቸው ሲለሰልስ በዚህ ዘይት አድኗቸዋል። ሶዶ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። እኔ ከዳሞታ ተራራ ሥር ተቀምጬ ፀሐይን ከኖርዌይ በጠርሙስ አስመጣሁ። ልጁ ጨቅላ ሳለ እናቱ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስታሞቀው «ምች ይመታዋል፣ አስገቢው» ብዬ የጮህኩባትም እኔው ነኝ።

ቫይታሚን ኤ ከሆነም የፈለግሁት፣ ኩልፎና ቱላ የሚባሉ ውስጣቸው ብርቱካናማ የሆነ የስኳር ድንች ዝርያዎች አሉ። ሰውነት ከእነሱ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው የሚያስፈልገውን ያህል ነው። ግን ደመወዝተኛ ከሆንኩ ወዲህ ስኳር ድንች ለእንግዳ አይቀርብም እያልኩ ከማዕዴ አርቄዋለሁ። የኔ ነገር! እናቴ ያሳደገችኝ በእሱ ነው።

ዓሣውንስ? አባያ በስፋት ከጣና ቀጥሎ ያለ ሐይቅ መሆኑን በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ በሁምቦ በኩል ደጃችን ነው። እኔ ግን ዓሣ አልበላም። ሰው ሲጠይቀኝ «የወላይታ ልጅ ቁርጥ በዳጣ እያለለት ዓሣ ምን ያደርግለታል?» እላለሁ፤ እውነቱ አጥንቱን መፍራቴ ነው። እኔ የምፈራውን ልጄ በእንክብል እንድትውጥልኝ ፈለግሁ። በርግጥ እንደ ቆሮሶ ያለ የሐይቅ ዓሣ ፕሮቲኑ እንጂ ኦሜጋ 3ው ከባሕር ዓሣ ያንሳል። ሰፈራችን ሱቅ የሚሸጠው የሰርዲን ቆርቆሮ ግን በ100 ግራም አንድ ግራም ያህል ኢፒኤና ዲኤችኤ አለው፤ ከኔ እንክብል ሦስቱን ማለት ነው። ልጄ አሁን ሰርዲኑን በዳቦ ትበላለች። ሒሳቡን እናቷ ታስረዳታለች።

እናንተ ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በራችሁን ስታንኳኳ ልጃችሁ የሚወስደውን ሁሉ ንገሯት፣ ጠርሙሱንም አውጥታችሁ አሳዩዋት። እኔ እስካሁን አልነገርኳትም፤ በሚቀጥለው ዙር እነግራታለሁ ብያለሁ።