የቤት ፍሪጅ አያያዝ፣ ጽዳትና የብልሽት ምርመራ አዋጅ ቁጥር 4/18

ፍሪጅ ዓውደ ዓመትና የሥራ ቀን ሳይለይ፣ ፈቃድና ደመወዝ ሳይጠይቅ፣ ሌት ተቀን ተሰክቶ የሚያገለግል ብቸኛው የቤት ሠራተኛ በመሆኑ፤

ይህ ሠራተኛ በታመመ ቁጥር ቤተሰቡ «ጋዙ አልቋል» ብሎ ሳይመረምር የሚፈርድበት፣ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በማይገጥም በር፣ ባልተጠረገ አቧራና ጀርባውን በጋረደ ዳንቴል ላይ የሚገኝ በመሆኑ፤

በአይስክሬም ዕቃ ተከድነው የተቀመጡ፣ ማን እንዳስቀመጣቸው የማይታወቅ፣ ለመክፈትም ደፋር የታጣላቸው ነገሮች በመደርደሪያው ላይ የይዞታ መብት ወደ መጠየቅ በመድረሳቸው፤

የቤቱን እመቤት፣ አባወራውን፣ እንግዳውንና በሩን ከፍተው ቆመው የሚያስቡትን ልጆች በእኩል የሚገዛ ሕግ ማውጣት አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የፍሪጅ አዋጅ ቁጥር 4/18» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥሩ በዕጣ የወጣ አይደለም። የፍሪጁ ውስጥ ሙቀት ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መብለጥ የለበትም፤ ፍሪዘሩ ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ መቆም አለበት። ከ4 ዲግሪ በላይ ባክቴሪያ ቶሎ ቶሎ ይራባል። ፍሪዘር ውስጥ አብዛኛው ባክቴሪያ አይሞትም፤ ሥራ አቁሞ ይቀመጣል እንጂ። ሥጋው ሲቀልጥ ካቆመበት ይቀጥላል።

ከ1 እስከ 7 ቁጥር የተጻፈበት ማዞሪያ የዲግሪ መለኪያ አይደለም። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቅዝቃዜው ይጨምራል፤ «7 ዲግሪ ይበቃዋል» ብሎ 7 ላይ ያዞረ ሰው ጎመኑን በረዶ ሆኖ ያገኘዋል። እውነቱን ለማወቅ ቴርሞሜትር ውኃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ከትቶ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ማሳደር ነው። ጠዋት የሚነበበው ቁጥር ይግባኝ የለውም።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

በዚህ አዋጅ ውስጥ «ትርፍራፊ» ማለት ለነገ ተብሎ የተቀመጠ፣ ነገ ግን ያልመጣለት ምግብ ነው። «ሃይላንድ» ማለት የየትኛውም ፋብሪካ የውኃ ፕላስቲክ ሲሆን፣ በውስጡ ውኃ፣ ጠበል፣ ጠጅ ወይም ዘይት ሊኖር ስለሚችል ሳያሸቱ መጎንጨት ክልክል ነው። «ባለሙያ» ማለት የፍሪጁን ጀርባ ሳያይ ዋጋ የማይናገር ሰው ነው።

አንቀጽ 3፦ ስለ መኖሪያ ስፍራ

ፍሪጅ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን በክብር መቆሙን ይህ አዋጅ አይቃወምም። አናቱ ላይ ዳንቴል፣ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ በአበባው አጠገብ የልጅ የምረቃ ፎቶ መቀመጡም አያስጠይቅም። ጥፋት የሚሆነው ዳንቴሉ ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ ጀርባውን ሲጋርድ ነው። ፍሪጅ ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ ከውስጥ ያለውን ሙቀት ለቅሞ ወደ ውጭ ይጥላል። የሚጥለውም ጀርባው ላይ ባለው ጥቁር ፍርግርግ ነው፤ በብዙዎቹ አዳዲስ ሞዴሎች ደግሞ ቱቦው ጎንና ጎኑ ውስጥ ተቀብሯል። ስለዚህ የአዲስ ፍሪጅ ጎን ሲዳሰስ ቢሞቅ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው፤ ጎረቤት ጠርቶ ማስዳሰስ አያስፈልግም። ከግድግዳው ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ከምድጃና በመስኮት ከሚገባ ፀሐይም ይጠበቅ።

ከውስጥ ወይም ከጀርባ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ፍሪጁ የተሠራበት የአየር ጠባይ ደረጃ በላቲን ፊደል ተጽፏል። «ኤን» የሚለው እስከ 32 ዲግሪ፣ «ኤስ ቲ» የሚለው እስከ 38፣ «ቲ» የሚለው እስከ 43 ዲግሪ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ ይሠራል። ለድሬዳዋ፣ ለሰመራ ወይም ለጋምቤላ ቤት «ኤን» ገዝቶ «አያቀዘቅዝም» የሚል ክስ ተቀባይነት የለውም። የደብረ ብርሃን ነዋሪም ከዚህ ነጻ አይደለም። ሦስቱም ደረጃዎች የሚጀምሩት ከ16 ዲግሪ ስለሆነ፣ ከዚያ በታች በቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ አንድ ቴርሞስታት ብቻ ያለው ፍሪጅ «በቂ ነው» ብሎ ለረጅም ጊዜ ያርፋል፤ በዚህ መሀል ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ሥጋ ይለሰልሳል።

በፒካፕ ተጋድሞ የመጣ ፍሪጅ ቤት እንደገባ አይሰካም። የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ፈስሶ ሊሆን ስለሚችል ቆሞ ጥቂት ሰዓት ይረፍ፤ ረጅም መንገድ ተኝቶ ከመጣ ሙሉ ቀን። «እንኳን ደስ አላችሁ» ባዮችን ቀዝቃዛ ነገር ለመጋበዝ መቸኮል የፍሪጅን ዕድሜ ያሳጥራል።

አንቀጽ 4፦ ስለ በር

የሚፈልጉትን ሳያውቁ በር መክፈት ክልክል ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀዝቃዛው አየር ወደ እግር ይፈስሳል፤ በምትኩ የገባውን ሞቃትና እርጥብ አየር ኮምፕረሰሩ እንደገና ማቀዝቀዝ አለበት።

የበሩ ጎሚኒ መያዝ አለመያዙ በ10 ብር ኖት ይፈተናል። ኖቱ በበሩና በአካሉ መካከል ተደርጎ ይዘጋና ይሳባል። ሲሳብ ከያዘ ጎሚኒው ደኅና ነው፤ ያለ ትግል ከወጣ ቅዝቃዜውም በዚያው በኩል እየወጣ ነው። ፈተናው በዙሪያው ሁሉ ይደገማል፤ የላይኛው ጥግ ይዞ የታችኛው ሊለቅ ይችላልና። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እጥፋቱ ውስጥ የደረቀ የማር፣ የወጥ ወይም የወተት ጠብታ ነው፤ ለብ ባለ የሳሙና ውኃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጸዳል። ጎሚኒው ደርቆ ከተሰነጠቀ ግን ይቀየራል። በፕላስተር የተለጠፈ ጎሚኒ በሕግ ፊት የለም።

አንቀጽ 5፦ ስለ ነዋሪዎች

ጥሬ ሥጋ ሁልጊዜ ከታች፣ በዕቃ ተደርጎ ይቀመጣል፤ ደሙ ሰላጣ ላይ እንዳይንጠባጠብ። በር ላይ ያለው መደርደሪያ ሙቀቱ ስለሚዋዥቅ ለወተትና ለእንቁላል አይመችም፤ ለሚጥሚጣ፣ ለአዋዜና ለለስላሳ ይተው። ድንች፣ ሽንኩርትና ሙዝ የፍሪጅ መታወቂያ የላቸውም። የበሰለ ምግብ ከምድጃ ከወረደ በ2 ሰዓት ውስጥ ይግባ፤ ድስቱ ትልቅ ከሆነ በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ቶሎ እንዲበርድ ይደረግ። ከነድስቱ ከነእንፋሎቱ ማስገባት ጎረቤት ያሉትን ምግቦች ማሞቅ ነው።

ከቅበላ የተረፈ ሥጋ 55 ቀን በፍሪዘር ታስሮ ፋሲካን መጠበቅ ይችላል። በ-18 ዲግሪ አይበላሽም፤ አየር ካገኘው ግን ይደርቃልና በደንብ ይጠቅለል፤ ቀኑም ይጻፍበት። ለረመዳን ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ሳምቡሳም በዚሁ ድንጋጌ ይተዳደራል። ይህ ሁሉ መብራት እንደማይሄድ ተቆጥሮ ነው፤ ስለዚህም አንቀጽ 7 አስፈልጓል።

አንቀጽ 6፦ ስለ ጽዳትና ስለ በረዶ

ጽዳት የሚጀመረው ሶኬት በመንቀል ነው። መደርደሪያዎቹ ወጥተው የቤቱን ሙቀት እስኪይዙ ይጠበቃሉ፤ ቀዝቃዛ መስታወት ላይ የፈላ ውኃ ማፍሰስ መስታወቱን ይሰነጥቃል። ውስጡ አንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ተበጥብጦ ይወለወላል። ሽቶ ያለው ሳሙና አይመከርም፤ ቅቤው የሳሙና ጠረን ይዞ ሊከርም ይችላል። በረኪናን ከኮምጣጤ ጋር መቀላቀል ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ከኋላው ግድግዳ ግርጌ ያለችው ትንሽ የውኃ መውረጃ ቀዳዳ በቀጭን ለስላሳ ቱቦ ወይም በለብታ ውኃ ትከፈት። የጀርባው ፍርግርግ በዓመት ሁለት ጊዜ በብሩሽ ይጠረግ፤ አንዱን በጳጉሜን ማድረግ ይቻላል፤ ቤቱ እንደሆነ ለእንቁጣጣሽ መገላበጡ አይቀርም።

ፍሪዘሩ ውስጥ በረዶው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሲደርስ መቅለጥ አለበት። በረዶው የቀዝቃዛውን ግድግዳ ሥራ ስለሚጋርድ ኮምፕረሰሩ ሳያርፍ ይሠራል። የሚቀልጠው በሩ ተከፍቶ፣ የፈላ ውኃ የያዘ ድስት በፎጣ ላይ ተቀምጦ፣ በትዕግሥት ነው። በቢላ፣ በካቻቪቴና በሹካ መፈልፈል በዚህ አዋጅ ከባድ ወንጀል ነው። ከበረዶው ሥር ያለው የአሉሚኒየም ግድግዳ ስስ ነው፤ ጋዙም በውስጡ ይዞራል። ቢላው በረዶውን አልፎ «ፍስስ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ችሎቱ አብቅቷል፤ ብዙ ጊዜ የዚያ ጥገና ወጪ ከፍሪጁ ቀሪ ዋጋ አይተናነስም።

አንቀጽ 7፦ መብራት ሲሄድ

መብራት ሲሄድ የፍሪጁ በር ይታሸጋል። ያልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን 4 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሹ ባዶ የሆነ 24 ሰዓት። ከ4 ዲግሪ በላይ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ሥጋ፣ ወተትና ወጥ ይጣላል፤ «አሽትቼዋለሁ፣ ደኅና ነው» የሚል ምስክርነት አይሰማም፤ የሚመርዝ ባክቴሪያ ሁሉ አይሸትምና። ውስጡ ገና የበረዶ ቅንጣት ያለው ሥጋ ግን ተመልሶ ሊቀዘቅዝ ይችላል።

ቤተሰቡ ክፍለ ሀገር ሄዶ ሲመለስ መብራት ሄዶ እንደነበረ የሚናገር ታማኝ ምስክር አንድ ነው፤ የአንድ ብር ሳንቲም። ስኒ ውስጥ ውኃ ይቀዘቅዝና ሳንቲሙ በበረዶው ላይ ተቀምጦ ፍሪዘር ውስጥ ይተዋል። ሲመለሱ ሳንቲሙ ላይ ከሆነ ምግቡ አልቀለጠም፤ ስኒው ሥር ተቀብሮ ከተገኘ ቀልጦ እንደገና ቀዝቅዟል፤ ውሳኔው ግልጽ ነው።

መብራት ሲመጣ ለኮምፕረሰሩ 5 ደቂቃ ይሰጠው። በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ሳይመጣጠን መነሳት ያስጨንቀዋል፤ ስታቢላይዘር ወዲያው የማይለቀውም ለዚህ ነው፤ እየነቀሉ መሰካት ሊያቃጥለው ይችላል። ፍሪጅና የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ዲቫይደር አይጋሩም። ምጣዱ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ሲስብ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ኮምፕረሰሩ ለመነሳት ያጓራል፣ «ቀጭ» ብሎ ይቆማል፣ እንደገና ይሞክራል። እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ፍሪጅ የሚታመምበት ቤት ሕመምተኛው የኤሌክትሪክ መስመሩ ነው።

አንቀጽ 8፦ ስለ ብልሽት ምርመራ

ባለሙያ ከመጠራቱ በፊት ቤተሰቡ ራሱ ይመረምራል። ፍሪጁ ጭራሽ ካልሠራና የውስጡ አምፖል ካልበራ፣ ሶኬቱ ላይ የስልክ ቻርጀር ተሰክቶ ይታይ፤ የካርድ ቆጣሪውም ሂሳብ እንዳለው ይጠየቅ። አምፖሉ እየበራ ኮምፕረሰሩ በየጥቂት ደቂቃው «ቀጭ» እያለ ከተኛ፣ ቮልቴጅ አንሷል ወይም ኮምፕረሰሩን የሚያስነሳው ሪሌይ ተበላሽቷል። ሪሌይ ከኮምፕረሰር ጋር ሲነጻጸር በጣም ርካሽ ነው፤ ስለዚህ «ኮምፕረሰሩ ሞቷል» የሚል ፍርድ ሪሌዩ ሳይሞከር አይጸናም።

ሳያርፍ የሚሠራ ፍሪጅ በመጀመሪያ በጎሚኒ፣ ቀጥሎ በአቧራ፣ ከዚያም በትኩስ ድስት ይጠረጠራል። ኖ ፍሮስት የሚባለው ዓይነት ከላይ እያቀዘቀዘ ከታች ከሞቀ፣ አየር የሚያወርደው ቀዳዳ በረዶ ሞልቶበት ወይም በፌስታል ተደፍኖ፣ አሊያም ማራገቢያው ቆሞ ነው። ውኃ በአትክልት መሳቢያው ሥር ከተጠራቀመ መውረጃዋ ቀዳዳ ተደፍናለች፤ ለዚህ ባለሙያ መጥራት ገንዘብ ማባከን ነው። የሚንቀጠቀጥ ፍሪጅ እግሩ ይስተካከል፤ ፊቱ ትንሽ ከፍ ቢል በሩም ራሱ ይዘጋል።

ሲነኩት የሚነዝር ፍሪጅ ለብቻው ይታያል። በብዙ ቤት እጀታው በጨርቅ ይጠቀለላል፤ ልጆች «ነጠላ ጫማ ሳታደርጉ አትንኩ» ይባላሉ፤ ነገሩም ለዓመታት እንደ ፍሪጁ ጠባይ ይቆጠራል። መንዘር ጠባይ አይደለም። ኮሬንቲ ወደ አካሉ እየፈሰሰ፣ ወደ መሬት የሚወስደው የኧርዝ ሽቦ ግን የለም ወይም ተቋርጧል ማለት ነው። ወዲያው ይነቀል፤ ኤሌክትሪሺያን ሳያየው አይሰካ።

አንቀጽ 9፦ ስለ ጋዝ

የፍሪጅ ጋዝ እንደ ቡታጋዝ ሲሊንደር በአገልግሎት አያልቅም። ፋብሪካ ውስጥ ታሽጎ፣ ውስጥ እየተነነ ሙቀት ሲለቅም፣ ውጭ ተጨምቆ ፈሳሽ ሲሆን ያንኑ ሙቀት ሲጥል፣ እዚያው ሲዞር ይኖራል። ከጎደለ አንድ ቦታ አምልጧል። በየዓመቱ «ጋዝ መሙላት» የሚባለው ልማድ ቀዳዳውን ትቶ ያንኑ ጋዝ ደጋግሞ መሸጥ ነው። ምልክቱም ይታወቃል፤ ኮምፕረሰሩ ሳያቋርጥ ይሠራል፣ በረዶው ግን በአንድ ጥግ ብቻ ይይዛል፣ በመገጣጠሚያ ላይም የዘይት ቅባት ሊታይ ይችላል። ባለሙያው ቀዳዳውን ፈልጎ ይበይዳል፣ ፊልተሩን ይቀይራል፣ በፓምፕ አየሩን መጥጦ ያወጣል፣ ጋዙንም በሚዛን ይሞላል። በግምት የሚሞላ ሰው በአንቀጽ 2 ትርጓሜ አይሸፈንም።

የጋዙ ዓይነት በኮምፕረሰሩ ላይ ተጽፏል። አር 12 የተባለው የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል በተፈረመው ስምምነት መሠረት ከገበያ ወጥቷል፤ በአር 134ኤም ተተካ፤ በአሁኖቹ ውስጥ በብዛት ያለው አር 600ኤ ነው። ይህ አይሶቡቴን ነው፤ ይቀጣጠላል። በቤት ፍሪጅ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ100 ግራም ያነሰ ቢሆንም፣ ሲያመልጥ ክብሪት አይጫርም፣ ማብሪያ ማጥፊያም አይነካም፤ መስኮት ይከፈታል። አንዱን ጋዝ በሌላው ላይ መጨመር ለባለሙያም ክልክል ነው።

አንቀጽ 10፦ ስለተሻሩ ልማዶች

ፍሪጅን በቡጢ መምታት፣ እጀታን በጨርቅ መጠቅለል፣ ጠጥተው የጨረሱትን ሃይላንድ ባዶውን መመለስና «እኔ አይደለሁም» ማለት ተሽረዋል። በባዶ ሃይላንድ የተያዘ ሰው ሞልቶ ይመልሳል፤ በድጋሚ ከተያዘ ፍሪዘሩን ያቀልጣል፤ በድስት ውኃ፣ ያለ ቢላ።

አንቀጽ 11፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ መብራት በመጣ በ5ኛው ደቂቃ የጸና ይሆናል።