ልጁን ማን ይያዘው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ሕፃናት ባወጣው መመሪያ፣ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት ይላል። በዓመቱ ደግሞ የአዋቂዎቹ መመሪያ መጣ፤ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ ድካም ያለው እንቅስቃሴ ቢያደርግ ይበቃዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያሰላ ሰው አንድ ጉድ ላይ ይደርሳል። የሦስት ዓመት ልጅ በሳምንት 1260 ደቂቃ ሲሯሯጥ፣ እሱን የሚጠብቀው ወላጅ 150ዋን ከሞላ «ጤናውን የሚጠብቅ ሰው» ይባላል። በቀሪው 1110 ደቂቃ ልጁን ማን እንደሚከተለው መመሪያው አይናገርም። ምድጃው መሬት ላይ በሆነበት፣ የውኃ ጉድጓድና የጎረቤት ውሻ ባለበት ሰፈር ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም።

ስሌቱን ያሰላው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ፓዌ ውስጥ ሒሳብ የሚያስተምር አንድ መምህር ነው። ስሙ ይቅር። የአራት ዓመት ሴት ልጅና ገና ድክ ድክ የሚል ወንድ ልጅ አለው። ቦርጭም አለው። ቦርጩ ከሁለተኛው ልጅ ጋር እኩል ያደገ ነው፤ የልጁ ክብደት በክትትል ካርዱ ላይ ሲመዘገብ የአባትየው የሚመዘገበው በቀበቶው ቀዳዳ ነው። ጎረቤቶቹ «ሦስተኛውን መቼ ልትገላገል ነው?» ማለት ሲጀምሩ ስፖርት ለመጀመር ቆረጠ።

ፓዌ ግን ሯጭ ልትወልድ የተፈጠረች አገር አትመስልም። ደራርቱና ጥሩነሽ የበቀሉባት በቆጂ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ብርድና ገብስ መካከል ተቀምጣለች። ፓዌ በለስ ሸለቆ ውስጥ፣ 1100 ሜትር ግድም ላይ ናት። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፀሐይዋ ከረፋዱ ጀምሮ ከሰው ጋር ጠብ ያላት ትመስላለች። ክረምት ሲገባ ጥቁሩ አፈር ይጨቀይና ጫማን ተቀብሎ እግሩን ብቻ ይመልሳል። ለሩጫ የሚመች ሰዓት ቢኖር ንጋትና ማታ ነው፤ እሱም ባለቤት አለው። ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ ሥራ የምትገባው ሲመሽ፣ የምትወጣው ሲነጋ ነው። የቆላ ሰው በዚያ ሰዓት አጎበር ውስጥ ሆኖ እንዲገኝ ይመከራል። አጎበር ውስጥ ዱብ ዱብ ማለት ደግሞ እስካሁን አልተለመደም።

ቢሆንም መምህሩ አንድ ማለዳ ወጣ። በፓዌ መንደሮቹ ዛሬም በቁጥር ይጠራሉ፤ በሰፈራው ዘመን የተሰጣቸው ቁጥር ስም ሆኖ ቀርቷል። ለሒሳብ አስተማሪ ይህ ደስ የሚል ነገር ነው። ከአንዱ ቁጥር ተነሥቶ ወደ ሌላው ቁጥር እየሮጠ ሳለ፣ ገና ግማሽ መንገድ ሳይደርስ አንድ ሽማግሌ ከደጃቸው ብድግ አሉ።

«ምነው ልጄ? ማን ታመመ?»

«ኧረ ደኅና ነው አባባ። ስፖርት ነው።»

«ታዲያ ማን እያባረረህ ነው?»

ሽማግሌው አልቀለዱም። ፓዌ ያለችበት መተከል በ2013 ዓ.ም. በኮማንድ ፖስት ሥር የነበረበትን ጊዜ ያየ ሰው፣ ጎሕ ሲቀድ የሚሮጥ ጎረምሳ ሲያይ ትዝ የሚለው የቦርጭ ነገር አይደለም። መምህሩ ከዚያ ወዲያ ሰው ባየ ቁጥር ሩጫውን አቁሞ ሰላምታ መስጠት ጀመረ። ፓዌ ደግሞ ሰው የሞላበት አገር ነው። የጤናን፣ የቤተሰብን፣ የዝናቡንና የአኩሪ አተሩን ሁኔታ ሳይጠይቁ ማለፍ ነውር በሆነበት መንገድ ላይ የልብ ምት ከፍ የሚል አይደለም።

ስለዚህ ስፖርቱ ወደ ቤት ገባ። በጥንቷ ክሮቶን ሚሎ የሚባል ትግል የሚገጥም ጀግና ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት የኖረ፣ በኦሎምፒክ ደጋግሞ ያሸነፈ። ስለ እሱ የሚወራው፣ አንዲት ጥጃ በየቀኑ እየተሸከመ ጥጃዋ በሬ ስታክል ጉልበቱም አብሮ አደገ የሚል ነው። ክሮቶን ዛሬ የምትገኘው ጣሊያን ውስጥ ነው። ፓዌ ከጣሊያን በጣና በለስ ፕሮጀክት ብዙ ነገር ተቀብላለች፤ መምህሩም ይህን ዘዴ ቢጨምርበት ምን ይከፋል? ትንሹን ልጅ ታቅፎ ቁጭ ብድግ ማለት ጀመረ። ሽቅብ አነሣው፣ አወረደው፣ አነሣው። ነገር ግን የሚሎ ጥጃ በመካከል ጺም አልጎተተችም፤ የሸሚዝ ኪስ ውስጥ የታኘከ ብስኩት አላስቀመጠችም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ድገም» ብላ አላለቀሰችም። መምህሩ ሲደክመው ልጁ ገና መጀመሩ ነው። ፑሽ አፕ ለመሥራት በሆዱ ሲተኛ ደግሞ ትልቋ ጀርባው ላይ ትወጣና «ቼ! ቼ!» ትለዋለች።

ባለቤቱ ትንሽ ሱቅ አላት። ይህን ሁሉ ከሱቋ ደጃፍ ሆና ታያለች፤ እሱ ሲደክመው ልጁን ታዝላለች። ሲነጋ 20 ሊትር ውኃ ይዛ የመጣችው እሷ ናት፤ 20 ሊትር ውኃ፣ ጀሪካኑን ሳይጨምር፣ 20 ኪሎ ነው። ልጁ 10 ኪሎ አልፏል። ሚሎ ይህን ቢያይ ምን እንደሚል መገመት አይከብድም። ማታ ማታ እሹሩሩ እያለች ቤቱን ከጓዳ እስከ በር የምትመላለሰው መንገድ ቢለካ መምህሩ በማለዳ ከሮጠው ሳይበልጥ አይቀርም።

«አንተ ስትወጣ ‹ስፖርት ላይ ነው› ይባላል» አለችው አንድ ቀን፣ ስኳር እየመዘነች። «እኔ አንድ ጊዜ ከሱቅ ብታጣ ‹የት ጠፋች› ነው የምባለው።»

መምህሩ ያነበበውን አካፈላት። ያው የ2019ኙ መመሪያ፣ ሕፃን ልጅ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ በጀርባ ታዝሎ ወይም በጋሪ ታስሮ መቆየት የለበትም ይላል። ሴትየዋ ሳቀች። «ደግ። አንድ ሰዓት ሲሞላ መጥቶ የሚቀበለኝን ስሙን ጻፉት?»

እዚህ ላይ መምህሩ መልስ አላገኘም፤ ለሒሳብ አስተማሪ መቼም መልስ ማጣት ከባድ ነው።

የገጠር ሴት ቀኑን ሙሉ ስለምትሠራ ስፖርት አያስፈልጋትም የሚል አባባል አለ። ግማሽ እውነት ነው። ወደ ገበያ የሚመጡ የጉሙዝ ሴቶች ረጅም በትር ትከሻቸው ላይ ጋድም አድርገው፣ በሁለቱ ጫፍ ሸክማቸውን እኩል አንጠልጥለው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ሲራመዱ ያየ ሰው የትኛውም ጂም ያንን አቋም እንደማያስተምር ያውቃል። ጀርባ እንኳ ለልጅ ነፃ ነው። ሌላው ግማሽ ግን አያስቅም። ከወሊድ በኋላ ሰውነቷ ሳይጠና ከባድ ሸክም የምታነሣ ሴት ለማህፀን መውጣት የመጋለጥ ዕድሏ ይጨምራል። እናቶቻችን አራሷን ቤት አስቀምጠው ገንፎና አጥሚት ሲያቀርቡላት፣ ቅቤው ቢበዛም እንኳ፣ ሸክሙን ከጀርባዋ ማንሣታቸው የሚናቅ ጥበብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 22 በመቶ ያህሉ ከሚገባው በታች ከሲታ፣ 8 በመቶዎቹ ከልክ በላይ ወፍራም እንደሆኑ ይናገራል። የመምህሩ ቦርጭ እንግዲህ የብዙኃኑ ችግር አይደለም ማለት ነው። ይህን ሲሰማ ትንሽ ተከፋ።

መጽናኛ ፍለጋ ወደ ሯጮቹ ዞረ። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ሜትሩን በ31 ደቂቃ ከ06 ሰከንድ አሸነፈች። በ1998 ልጅ ወለደች። በ2000 ሲድኒ ላይ ያንኑ ወርቅ በ30 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ደገመችው፤ ከመውለዷ በፊት ከሮጠችው ከ48 ሰከንድ በላይ ፈጥና። ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 ቤጂንግ ላይ በ29፡54 ወርቅ ወሰደች፤ በ2015 ልጅ ወለደች፤ በ2016 ሪዮ ላይ በ29፡42 ሮጣ ነሐስ አገኘች። ወርቅ ካስገኘላት ሰዓት 12 ሰከንድ የፈጠነ ነሐስ! መምህሩ ሁለቱን አይቶ ልጅ መውለድ ሰውን ያፈጥናል ወደሚል ድምዳሜ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶት ነበር። የወለደው እሱ አለመሆኑ ትዝ ሲለው ተወው።

ያን የሪዮ ውድድር ያሸነፈችው ደግሞ የዚሁ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ልጅ አልማዝ አያና ናት። ነሐሴ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ቻይናዊቷ ዋንግ ዡንሺያ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይዛው የቆየችውን የዓለም ክብረ ወሰን በ14 ሰከንድ አሻሽላ 29፡17.45 ገባች። ይህ ክልል ሯጭ አያበቅልም የሚለውን ሰበብ ከመምህሩ እጅ የነጠቀችውም እሷ ናት። ከዚያ የጉልበት ሕመም መጣ፤ ወሊድም መጣ። ብዙ ሰው ረስቷት ሳለ በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ የመጀመሪያ ማራቶኗን በ2፡17፡20 አሸንፋ ተመለሰች።

ሚስትየው ታሪኩን በጥሞና ሰማች። ከዚያ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እሷ ልምምድ ስትወጣ ልጁን ማን ይይዛል?»

እውነት ነው፤ የስፖርት ጋዜጠኛ ሰከንዱን ይቆጥራል፣ ዙሩን ይቆጥራል፣ ልጁን የያዘውን ሰው ግን አይቆጥርም። ጥሩነሽ 25 ዙር በምትዞርበት 29 ደቂቃ ውስጥ አንድ ሰው፣ የሆነ ቦታ፣ አንድ ትንሽ ልጅ ታቅፎ ነበር። ያ ሰው ሜዳልያ የለውም። ሕጉም ቢሆን ቸር አይደለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች እናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲሰጥ ለአባት የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው። በሦስት ቀን አባት የሚማረው ልጁ ማንን እንደሚመስል መከራከር ብቻ ነው።

በፓዌ ጥያቄው የራሱ ታሪክ አለው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከሸዋና ከሌላም ቦታ ድርቅና ረኀብ የነቀለው ሕዝብ እዚህ ሲሰፍር ብዙ ቤተሰብ ተነጣጥሎ ነው የመጣው። ቀጥሎ ጣሊያኖቹ ትራክተር አመጡ፤ ሆስፒታል ተሠራ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ተዘረጋ። አያት ግን በፕሮጀክት አይመጣም። የያኔዎቹ ወጣት እናቶች ልጃቸውን የሚያስይዙት ቋንቋዋን ለማይሰሙላት ጎረቤት ነበር፤ የወሎዋ ለከምባታዋ፣ የከምባታዋ ለወሎዋ። ሕፃናቱ ሁለቱንም ቋንቋ ለምደው አደጉ። እነዚያ ወጣት እናቶች ዛሬ ራሳቸው አያት ሆነዋል፤ ፓዌም አያት ያላት አገር ሆናለች።

ከእነሱ አንዷ የመምህሩ የጓሮ ጎረቤት ናቸው። እማማ ይሏቸዋል። የባልና ሚስቱን ክርክር በአጥሩ ቀዳዳ ለብዙ ጊዜ ሲያዳምጡ ኖረው በመጨረሻ ቡና ሊጠጡ ገቡ፤ ትንሹ ልጅ ሳይጠራ ጉልበታቸው ላይ ወጣ።

«ጧት ጧት እኔ ጋ ይሁኑ» አሉ። «ልጅቱ ትውጣ፣ ትንፈስ። እሷ ናት የታሰረችው።»

መምህሩ ደስ ብሎት ሊያመሰግን አፉን ሲከፍት እማማ አላስጨረሱትም። «አንተ ደግሞ ስፖርት ካማረህ በቆሎዬ አረም ውጦታል። ዶማው ከማጀቱ ጀርባ ነው።»

እነሆ አሁን ፀሐይ ብቅ ስትል፣ ትንኟ ከሥራ ስትወጣ፣ የመምህሩ ሚስት ከሁለት ባልንጀሮቿ ጋር ወደሚቀጥለው ቁጥር መንደር በፈጣን እርምጃ ትሄዳለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስራለች፤ ጀርባዋ ላይ ማንም የለም። መጀመሪያ ሰሞን እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ነበር አሉ። ሦስት ሴቶች አብረው ስለሚሄዱ ማን ታመመ ብሎ የሚጠይቃቸውም የለም፤ ለቅሶ ቤት የሚሄዱ ይመስላሉ። በመመለሻቸው አንዳንዴ ዱብ ዱብ ይላሉ፤ ሰው ሲመጣ ይተዋሉ።

መምህሩ ይኮተኩታል። የኩትኮታ ነገር እንደ ቁጭ ብድግ አይደለም፤ ወገብ ይፈትሻል፣ መዳፍ ያሳብጣል፣ ደግሞ መጠኑን የሚወስነው ሠሪው ሳይሆን አረሙ ነው። ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ይህንንም ትምህርት ቤት ውስጥ ላልጠየቀው ሁሉ ይናገራል። ትልቋ ልጅ ከኋላው እየተከተለች የነቀለውን አረም መልሳ ትተክላለች። እማማ ትንሹን ታቅፈው ከማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ግን ከማሳው አይነሣም።

«ሒሳብ አይደል የምታስተምረው?» ይሉታል። «ታዲያ ይሄ መስመር ነው?»